ኢንጂነሩ የቆለፈው የእናቴ ካርድ

ሆሳዕና ውስጥ በአንዲት ትንሽ የሶፍትዌር ቤት ስሠራ አለቃችን «ኢንጂነር» ካልተባለ አይሰማም ነበር። በስሙ ብትጠራው ጆሮው የለም፤ «ኢንጂነር» ስትለው ግን ወንበሩን ጭምር ያዞርልሃል። ከምባታ ውስጥ የአንጋጫ ልጅ ነው። አንጋጫ ከአማርኛው ውስጥ እንዳይሰማበት ምላሱን እያቀጠነ፣ በየመሃሉ «አክቹዋሊ» እየሰነቀረ ነው የሚያወራው። እናቱ ስትደውልለት ኮሪደር ወጥቶ በከምባትኛ ያንሾካሹካል፤ ሲመለስ «ደንበኛ ነው» ይለናል። እኔም እዚያው ከምባታ የዶዮገና ልጅ ነኝ። ደንበኛው «ምሳህን በልተሃል ወይ?» ብሎ እንደጠየቀው በደንብ እሰማ ነበር።

ሥራችን ነጋዴዎችና ገበሬዎች ላቋቋሙት የሕክምና መረዳጃ ማኅበር የካርድ ሲስተም መሥራት ነበር። አባሉ መዋጮውን ከፍሎ ካርዱን በየዓመቱ ያሳድሳል፤ ሲታመም ካርዱን አሳይቶ ይታከማል። ነገሩ ይኸው ነው።

የምንሠራበት ፍሬምወርክ ሥራውን ለሦስት ይከፍላል። ሞዴሉ መረጃውንና ሕጉን ይይዛል፤ ቪው ሰው የሚያየውን ገጽ ያሳያል፤ ኮንትሮለሩ መሃል ቆሞ ጥያቄ ይቀበልና ለሚመለከተው ያስተላልፋል። ቢሮ የረገጠ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ መዝገብ ቤት፣ መስኮትና ተላላኪ ማለት ነው። ኢንጂነሩ ግን ሁሉንም ተላላኪው ላይ ከመረው። የእሱ ኮንትሮለር መዝገብ ያገላብጣል፣ ሕግ ያወጣል፣ ይፈርዳል፣ ማኅተምም ይመታል። ያው ሕግ ሌላ ቦታ ሲያስፈልግ ደግሞ ኮፒ አድርጎ ይለጥፈዋል። «ሕጉን ሞዴሉ ውስጥ አንዴ እንጻፈውና ሁሉም እዚያ ይጠይቅ» ስለው «ጊዜ የለንም» አለኝ። ሰነፍ ሰው ሁልጊዜ ጊዜ የለውም።

ከለጣጠፋቸው ሕጎች አንዱ እንዲህ ይላል። ካርዷን ልታሳድስ የመጣች ባለትዳር የባሏን ስም ከነአባቱ በገዛ አፏ ትናገር፤ የማኅበሩ ጸሐፊ የሰማውን ይጻፍ፤ ሦስቴ ከመዝገቡ ጋር ካልገጠመ ካርዱ ይቆለፍ። «ባንክ የሚሠራው እንዲህ ነው» አለን፤ ባንክ የሠራ ይመስል።

በእኛ በኩል ሴት የባሏን አባት ስም አትጠራም። ዛሬ ወጣቶቹ እየተዉት ነው፤ እናቶቻችን ግን አልተዉትም። እናቴ አያቴ ከሞተ በኋላ እንኳ ስሙ ከአፏ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። ስሙ ብቻም አይደለም። ወተት በከምባትኛ የአያቴ ስም በሚጀምርበት ድምፅ ስለሚጀምር፣ ወተትን በሌላ ቃል ነው የምትጠራው። እኔ ልጅ ሆኜ የወተት ስሙ ያ ይመስለኝ ነበር፤ ጎረቤት ሄጄ በእሱ ስጠይቅ ሳቁብኝ። ቢሮ ስትሄድም ችግር አልነበረም። ጸሐፊው ስም ሲጠይቃት ዝም ትላለች፤ ከኋላዋ ወረፋ የያዘ ሰው ይናገርላታል፤ ይጻፋል፤ ያልቃል። ኢንጂነሩ ይህችንም ቀዳዳ ደፈናት። ገጹ ላይ በቀይ «ከባለካርዱ በቀር ሌላ ሰው መመለስ አይችልም» የሚል አኖረ፤ ከሌላ አገር የመጡትን አዳዲስ ጸሐፊዎችም በዚሁ አሠለጠነ።

ሲስተሙ ሥራ በጀመረ ሰሞን ከዶዮገናም ከሞርሲቶም ስልኩ አላርፍ አለ። ካርድ ተቆለፈ፣ ካርድ ተቆለፈ። ኢንጂነሩ ስብሰባ ጠራ። መጀመሪያ ኔትወርኩ ነው አለ። ቀጥሎ ካሹ፣ ሰርቨሩ ለጊዜው የያዘው መረጃ ነው ችግሩ ብሎ አስጠረገን፤ ሰርቨሩን አጥፍተን አበራን። ከዚያ ሀሌታው ሀ ከሐመሩ ሐ እየተምታታ ነው አለና ፊደል ስናመሳስል ዋልን። ካርዱ መቆለፉን ቀጠለ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ። በመጨረሻ ፕሮጀክተር አስበርቶ «አክቹዋሊ፣ እነዚህ ሐሰተኛ አባላት ናቸው» ሲለን፣ ያን ሁሉ እናት በአንድ ቃል ሌባ ማድረጉ ደሜን አፈላው።

አንድም ሰው የተጻፈውን አላየም ነበርና ያልገጠሙትን መልሶች አወጣኋቸው። ጸሐፊዎቹ የሰሙትን እንዳለ ጽፈዋል፤ «ትልቁ ሰውዬ»፣ «የቤቱ ሽማግሌ»፣ «እሱን እናንተ ታውቁታላችሁ»። አንዷማ «ልጄን ጠይቁት» ብላለች። ወረቀቱን ይዤ ገባሁና ኢንጂነሩ ፊት አስቀመጥኩት።

«ሴቶቹ ያማታቸውን ስም አይጠሩም። አንተም ታውቀዋለህ» አልኩት።

«እኔ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም» አለ፤ ዓይኑ ግን ከወረቀቱ አልተነሳም። «ደግሞስ ቢሆን፣ ሲስተም ለባላገር ብሎ አይታጠፍም።»

ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል። እሱ የነቀነቀው ግን የገዛ እናቱን አጥር ነው። አላዋቂ ሰው ሊያናድደኝ ይችላል፤ እያወቀ አላውቅም የሚልን ግን ንቄው ነው የምወጣው። ያን ቀን ንቄው ወጣሁ።

በዚያው ሳምንት ረቡዕ እናቴ ከዶዮገና በሚኒባስ መጣች። ቀኝ ዓይኗ ከጠፋ ቆይቷል፤ ግራውን ደግሞ ሞራ ሸፍኖት ነበር። ወደ ሆሳዕና ሆስፒታል ከሌላ ከተማ የዓይን ሐኪሞች መጥተው ነበርና ሞራውን ሊገፍፉላት ቀጠሮ ይዣለሁ። ሐኪሞቹ ዓርብ ሠርተው ይሄዳሉ። መቼ እንደሚመለሱ የሚያውቅ የለም። ካርዷን ሳየው ተቆልፏል። ዶዮገና ልታሳድስ ሄዳ አዲሱ ጸሐፊ ስም ሲጠይቃት ሦስቴ «ትልቁ ሰውዬ» ብላዋለች።

ይዣት ኢንጂነሩ ዘንድ ሄድኩ። የመክፈቻው ፈቃድ በእሱ እጅ ነው። ደግነቱ እንዲታይለት ብድግ ብሎ ወንበር ሳበላት፤ ከዚያ በዚያ በቀጠነ አማርኛው «እማማ፣ አንድ ስም ብቻ ይበሉልኝ፤ አሁኑኑ እከፍትልዎታለሁ» አላት።

እናቴ ፊቷን ወደ ድምፁ አዙራ በከምባትኛ «አንተ የማን ልጅ ነህ?» አለችው።

ያልገባው መስሎ ወደ እኔ ዞረ። «ምን አሉ?»

ይህን ስጽፍ እንኳ ያ ፊቱ ሲመጣብኝ ምራቄ ይመረኛል። ተረጎምኩለት፤ የገባውን ነገር ተረጎምኩለት። «ከአዲስ አበባ ነኝ በላቸው» አለኝ። እናቴ አማርኛውን ሰምታለችና ትርጉም አልጠበቀችም። ዱላዋን ፈልጋ ተነሳች። «ስሙን ከምጠራ ይቅርብኝ። እንሂድ ልጄ» አለች።

ሐሙስ ሁሉም ምሳ ሲወጣ እኔ ኮምፒውተሬ ላይ ቀረሁ። መጀመሪያ በቀጥታ ዳታቤዙ ውስጥ ገብቼ ካርዷን ከፈትኩት። ገጹን ሳድሰው መልሶ ተቆለፈ። ሌላ ኮንትሮለር ውስጥ ያው የተለጠፈ ሕግ የድሮ ስህተቶቿን ቆጥሮ ይቆልፋል። እሱን አወጣሁት፤ የሆስፒታሉ ገጽ ቆለፈው። እሱን አወጣሁት፤ የማተሚያው ገጽ ራሱን ዘጋና የስህተት ጽሑፍ ደረደረልኝ፤ እዚያም ተለጥፏል። ሙጃ እንደመንቀል ነበር። ሕጉ እንደነገርኩት ሞዴሉ ውስጥ ቢሆን አንድ መስመር ሰርዤ ምሳዬን እበላ ነበር። ደጋግሜ የሱን ስም እየረገምኩ፣ የመጨረሻውን ቪው ውስጥ ተደብቆ አገኘሁት፤ ሕግ የሚባል ነገር ለምን መስኮት ላይ እንደሚጻፍ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ሰረዝኩት። ካርዷ ተከፈተ፤ ገጹን ደጋግሜ አደስኩት፤ እንደተከፈተ ቀረ፤ አሳድሼ አዲሱን ካርድ አተምኩላት። የሌሎቹም እናቶች አብሮ ተከፈተ። አለቀስኩ፤ ደግነቱ ማንም አልነበረም።

ዓርብ ተሠራላት። ቅዳሜ ፋሻው ሲነሳ መስኮቱ ላይ ያለችውን ዝንብ አሳየችኝና ሳቀች።

ሰኞ ቢሮ ስገባ ኢንጂነሩ የድሮውን ኮድ መልሶታል። «ያለፈቃድ የተነካ ሥራ» ብሎ ማስጠንቀቂያም ጽፎልኛል። ሕጉ በየቦታው እንደተለጠፈ ነው፤ ካርዶቹም መቆለፍ ጀምረዋል። የሥራ መልቀቂያዬን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ወጣሁ። በመልቀቂያው ላይ «ኢንጂነር» የሚለውን አልጻፍኩም፤ ያቺን ደስታ ነፈግኩት።

ቤት ስገባ እናቴ ካርዷን ወደ ብርሃኑ ይዛ እያገላበጠች ነበር። መጽሐፍ ቅዱስ ለማንበብ ብላ ፊደል የቆጠረች ሴት ናት። ኢንጂነሩ በሠራው ካርድ ላይ የባል አባት ስም በትልቁ ይታተማል። ዓይኗ ከበራ በኋላ መጀመሪያ ያነበበችው ጽሑፍ ያ ሆነ። በአውራ ጣቷ ሸፈነችው።

«ይህን የሠራው ያ ልጅ ነው?» አለችኝ።

«እሱ ነው።»

«እናት የለችውም?»

«አለችው። አንጋጫ ናት።»

ጣቷን ከካርዱ አላነሳችም።

«ታዲያ እሷ ስትታመም» አለች፣ «ማን ይናገርላታል?»