የአባቴ ቀኝ እጅ

ከዚህ በፊት ምንም ነገር ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ የቆመ ነው። ትምህርት ቤት ሳለሁም መልሱን እያወቅሁ እጄን የማላወጣ ልጅ ነበርሁ። ሰው ፊት ስቆም ምላሴ ይተሳሰራል፤ ብቻዬን ቁጭ ብዬ መጻፉ ግን ይቀለኝ እንደሆነ እስቲ ልሞክር ብዬ ነው። ስለ አባቴ እጅ የሚወራው ወሬ ቁንዝላ ከዳር እስከ ዳር ይታወቃል። ሁሉም የየራሱን ያወራል፤ እኔን የጠየቀኝ የለም።

አባቴ ቄስ ናቸው። ከቁንዝላ ወጣ ብላ ሐይቁ ዳር ባለች ቤተ ክርስቲያን ይቀድሱ ነበር። ሰሞናቸው ባልሆነ ጊዜ እንደ ማንም ገበሬ ያርሳሉ፣ ያርማሉ፣ ያጥራሉ። እኛ ልጆቻቸው አንቱ እያልን ነው ያደግነው። መንገድ ላይ ያገኛቸው ሁሉ ጎንበስ ብሎ መስቀላቸውን ይሳለማል፤ መስቀል ካልያዙ ቀኝ እጃቸውን ይስማል። ሰው ሲታመም የሚጠራው፣ ሕፃን ክርስትና ሲነሣ የሚባርከው ያው እጅ ነበር። ልጅ ሆኜ አንዳንድ ጊዜ እቀና ነበር፤ እኛን ለመዳሰስ ጊዜ አልነበረውም።

ክረምቱ ሲገባ የጓሮውን አጥር ሲያጥሩ የግራር እሾህ የቀኝ እጃቸው አመልካች ጣት ውስጥ ገባ። በመርፌ ቢያወጡት ግማሹ ተሰብሮ ቀረ። ጣቱ አበጠ። ቅጠል ታሰረበት፣ ጠበል ፈሰሰበት፣ ይፈርጣል ተብሎ ተጠበቀ። ሳይፈርጥ እብጠቱ ወደ መዳፋቸው ወረደ። እኔ ያኔ ባሕር ዳር እትዬ ዘንድ ነበርሁ። እትዬ ታላቅ እኅቴ ናት፤ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በፈረቃ ትሠራለች። ፔዳ የሚባለው ሰፈር አጠገብ በተከራየናት አንድ ክፍል እኔ ምግቡን አበስላለሁ፣ ልብሱን አጥባለሁ።

አባቴ በጀልባ ተሻግረው መጡ። "እናንተን ላይ ብዬ ነው" አሉን። እትዬ እጃቸውን ለመሳም ስታጎነብስ ሽታው ቀድሞ ደረሳት። ከንፈሯን ሳታስነካ ቀና አለችና ነጠላዋን አንሥታ "ተነሡ፣ ሐኪም ቤት እንሂድ" አለች። ያን ቀን ምሳ አልበላንም።

የተኙበት ክፍል ብዙ አልጋ ነበረው። ሐኪሟ የውጭ አገር ሴት ናት፤ እርዳታ ብለው ከላኳቸው ሐኪሞች አንዷ። ቋንቋችንን ስለማታውቅ የሚተረጉምላት ድሬሰሩ ነው፤ ቁስል የሚያጥበውና መርፌ የሚወጋው ማለት ነው። እሱ የሐይቁ ዳር ልጅ ነው፤ ልጅ ሳለ ዲያቆን ነበር። አባቴን ሲያይ መጀመሪያ መስቀል ተሳለመ፣ ከዚያ ነው እጁን ታጥቦ የመጣው።

ሐኪሟ ጣቱን ገለባብጣ አየችና የሆነ ነገር አለች። ድሬሰሩ ጉሮሮውን ጠረገ።

"አባቴ፣ አጥንቱ ድረስ ገብቷል ነው የምትለው። ጣቱ ዛሬ ቢቆረጥ ድነው አገርዎ ይገባሉ።"

"ጣት የጎደለው ቄስ መቅደስ አይገባም" አሉ አባቴ። "ንገራት።"

ነገራት። ግራ ተጋብታ መልሳ ጠየቀችው።

"በሌላው እጅ አይሆንም ወይ ትላለች።"

"የሌላው እጅ ነገር አይደለም። አካሉ የጎደለ አይቀድስም። ሕጉ ነው።"

ሐኪሟ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። አልተቆጣችም። መርፌው እየተወጋ ጥቂት ቀን እጠብቃለሁ አለች። ፔኒሲሊኑ ከሠራ ሕመሙ ይቀንሳል፣ ትኩሳቱም ይወርዳል፤ ጣቱም ሊተርፍ ይችላል። ሕመሙ ወደ ላይ ከወጣ ግን የጣት ነገር ብቻ አይሆንም። ስለዚህ ስጠይቅዎ እውነቱን ይንገሩኝ አለች። ድሬሰሩ ይህን ሁሉ አንድ በአንድ ተረጎመ። አባቴ ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔም ሰማሁ።

ከእትዬ የፋብሪካ ሥራ የተነሣ አስታማሚዋ እኔ ሆንሁ። ቀን ቀን አልጋው እግርጌ ዱካ ላይ እቀመጣለሁ። አጠገባችን ያለው አልጋ ላይ ከጦር ግንባር የመጣ ወታደር ተኝቷል፤ እግሩ ቆስሎ መግል ይዞበታል። ቁስሉ ሲታጠብ የሚጮኸው ጩኸት ግቢው ድረስ ይሰማል። ሲጨርሱ ደግሞ ይቀልዳል።

"አባ፣ እርስዎ ከምን ተሠርተው ነው?" አላቸው አንድ ቀን። "ይጩኹ እንጂ። ማስታገሻ እዚህ የሚሰጠው ለሚጮኸው ነው።"

"አንተ ጩህ ልጄ። ድምፅ ሰጥቶሃል።"

"እሺ እርስዎ ቄስ ነዎት። ልጅዎትስ? ድምጿን የሰማሁት ሲያስነጥሳት ብቻ ነው።"

አባቴ ሳቁ። እኔ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርሁ።

የቀለደው ግን እውነት ነበር። ማስታገሻው እንደ ዘመኑ ነገር ሁሉ ጥቂት ነው፤ ለባሰበት ይባላል፣ የባሰበት የሚታወቀው ደግሞ በጩኸቱ ነው። ለአባቴ የጠየቀላቸው ሰው አልነበረም፤ እሳቸውም አልጠየቁ።

ጠዋት ጠዋት ሐኪሟ ትመጣለች።

"እንዴት አደሩ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን።"

"ሕመሙስ?"

"ቀንሷል።"

መዳፋቸውን ትጫነዋለች። ዓይናቸውን እንኳ አያርገበግቡም። እኔ ግን የተቀመጥሁት እግርጌ ስለሆነ ብርድ ልብሱ ሥር የእግራቸው ጣቶች ሲኮማተሩ አያለሁ። እሷ የምታየው ፊታቸውን ነው። ፊታቸው ደግሞ የቅዳሴ ሰዓት ፊት ነበር።

የሙቀት መለኪያውን ድሬሰሩ ሰጥቷቸው ወደ ሌላው አልጋ ሲያልፍ ብብታቸው ውስጥ በማስገባት ፈንታ ሸሚዛቸው እጥፋት ውስጥ ይይዙታል። መጀመሪያ ያየሁ ቀን ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን።  ዝም በይ ማለት አላስፈለጋቸውም።

ቁስሉ ሲታጠብ ደግሞ እንዲህ ነው።

"ጣቱን ብቻ እጠብልኝ፣ ላይኛውን አትንካው።"

"አባቴ፣ ክንድዎ እኮ ግሏል።"

"ይበርዳል። ለሴትዮዋ እየደረቀ ነው በላት።"

ድሬሰሩ የያዘውን ፋሻ መጠቅለል ይጀምራል። ከዚያ ሐኪሟ ስትመጣ እየደረቀ ነው ይላታል። ክፉ ሰው አይደለም። አክብሮ ነው። አባቴን ማክበሩን ሁሉም አይቶለታል፤ ስለዚህ ዛሬም ማንም አይወቅሰውም።

ሸሚዛቸውን ስቀይርላቸው ነው ክንዳቸውን ያየሁ። ከእጃቸው አንጓ ተነሥቶ በውስጥ በኩል እስከ ክርናቸው፣ ከክርናቸውም አልፎ የወጣ ቀይ መስመር አለ፤ በክር የተሰመረ ይመስላል። ብብታቸው ሥር ንፍፊት ወጥቷል። ስነካው እጄን በግራ እጃቸው ያዙኝ።

"አባባ፣ ለሐኪሟ እንንገራት።"

"ምኑን?"

"ንፍፊቱን።"

"ከነገርናት ጣቴን ትቆርጠዋለች።"

"አንድ ጣት አይደለም?"

"ለአንቺ አንድ ጣት ነው" አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ለእትዬ ነገርኋት። ከሥራ እንደወጣች፣ ፀጉሯ ላይ የጥጥ ብናኝ እንዳለ መጣች። አባቴ ተነሥተው ተቀመጡላት፣ ያመጣችላቸውን ሾርባ ጠጡላት፣ ስለ ፋብሪካውም ጠየቋት። ስትሄድ ሸኘኋት፤ በሩ ላይ "አንቺ ፈሪ ነሽ፣ ትንሹ ነገር ይገዝፍብሻል" አለችኝ። ደክሟት ነበር፤ ድነዋል ብላ ማመን ትፈልግ ነበር።

ድሬሰሩን ኮሪደር ላይ ጠብቄ ነገርሁት። ድምፄ ስለማይሰማ ሁለቴ አስደገመኝ።

"አውቃለሁ" አለኝ። "ግን እኔ የቄስ እጅ ያስቆረጠ አልባልም። አንቺም አትባይ። ተይው፣ መርፌው ይሠራ ይሆናል።"

በማግስቱ ጠዋት አባቴ ጥርሳቸው ይንገጫገጭ ነበር። ጋቢያቸውን እስከ አንገታቸው ሸፍኜላቸው ፋሻው ብቻ ወጥቶ ይታያል። ሐኪሟ መጣች።

"ዛሬማ ተኝቼ አደርሁ፣ ይመስገን" አሉ።

ድሬሰሩ ተረጎመ። ሐኪሟ ፈገግ ብላ ትከሻቸውን ነካ አደረገችና ወደ ወታደሩ ዞረች። ያን ጊዜ ተነሣሁ። ልናገር ነበር የተነሣሁ። አፌን ከፈትሁ፣ ድምፅ አልወጣም። ዱካው ከኋላዬ ወደቀ፣ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ጋቢውን ከላያቸው ሳብሁና የሸሚዛቸውን እጅጌ እስከ ትከሻቸው ሰበሰብሁት።

ክንዳቸው በጠዋቱ ብርሃን ተገለጠ። አብጦ ያብረቀርቃል፤ መስመሩ አንድ ብቻ አልነበረም። ከፋሻው በታች መዳፋቸው ጠቁሯል። አባቴ በግራ እጃቸው ጋቢውን ሊመልሱ ሞከሩ፣ አልደረሱበትም።  ሐኪሟ ተመልሳ ብብታቸውን በጣቷ ጫነች። አባቴ ጮኹ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የጮኹ። ድምፁን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፤ የሳቸው አልመሰለኝም ነበር።

ሐኪሟ ለድሬሰሩ ቶሎ ቶሎ ተናገረች። እሱ ጫማውን እያየ ነው የሰማት።

"ምን አለች?" አሉ አባቴ።

"ከእጅ አንጓዎ በላይ ይቆረጥ ነው የምትለው። ዛሬውኑ። አለዚያ አይተርፉም።"

"እምቢ በላት።"

ቀኑ ሲጋመስ ትኩሳቱ አሸነፋቸው። ዜማ ጀመሩ፣ ዜማውን ከአጥርና ከበሬ ጋር ይቀላቅሉታል። ሰው ተልኮባት እትዬ የሥራ ካፖርቷን ሳታወልቅ መጣች። አየቻቸውና ለሐኪሟ "ቁረጡት" አለቻት። ይህን ድሬሰሩ መተርጎም አላስፈለገውም።

አባቴ ዳኑ። ትኩሳቱ ለቀቃቸው፣ ምግብ ወሰዱ፣ ጉንጫቸው ሞላ። ሐኪሟ አንድ ቀን በር ላይ አግኝታኝ በድሬሰሩ በኩል አነጋገረችኝ። መጀመሪያ ቀን ጣቱ ብቻ ነበር አለችኝ።  ድሬሰሩ ሲተረጉምልኝ እንደ ልማዱ ጫማውን እያየ ነበር።

ከአገር ሊጠይቁ ሰዎች መጡ፤ የደብሩ አገልጋዮችና ጎረቤቶች። አልጋውን ከበው ቆሙ። የተጠቀለለውን ክንድ እያዩ አንዱ ሽማግሌ "ማን ፈቀደ?" ብለው ጠየቁ።

"ልጄ ገለጠችኝ" አሉ አባቴ።

ሁሉም ወደኔ ዞሩ። ማብራራት ነበረብኝ። ሕመሙን የደበቁት እሳቸው ናቸው፣ መለኪያውን ሸሚዝ ውስጥ የያዙት እሳቸው ናቸው፣ እየደረቀ ነው ያለው ድሬሰሩ ነው፣ ቁረጡት ያለችው እትዬ ናት ማለት ነበረብኝ። ውኃ ላምጣ ብዬ ወጣሁ። ወታደሩ በክራንች ግቢ ውስጥ መራመድ ጀምሮ ነበር፤ ቧንቧው ጋ አገኘኝ።

"ጀግናው አባትሽ እጃቸውን ተዉ፣ እኔ ፈሪው እግሬን ይዤ ልወጣ ነው" አለ። ቀልድ ሊያደርገው ፈልጎ ነበር፤ ሲያየኝ ተወው።

እትዬን ማንም አልነካት። ደመወዝተኛ ናት፤ ለአገር ሰው ልጆች ሥራ ታፈላልጋለች። ድሬሰሩም ባሕር ዳር ለሚመጣ የአገር ሰው ሁሉ መርፌ የሚወጋ ነው። የቀረሁት እኔ ነኝ። ቁንዝላ ስወርድ ያባቷን እጅ ያስቆረጠች እባላለሁ፤ ከኋላዬ ብቻ አይደለም።

አባቴ አሁን ቅኔ ማኅሌት ይቆማሉ። መቋሚያቸውን በግራ እጃቸው ይዘው በሌላው ብብታቸው ሥር ያስደግፉታል። መቅደሱ ውስጥ የሚቀድሰው ሌላ ቄስ ነው፤ ድምፁ የሳቸውን ያህል አይደለም፣ ይህንንም ሁሉም ያውቃል። ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ሕፃናት እንደ ድሮው ወደሳቸው ይሮጣሉ፤ አጠገባቸው ሲደርሱ የትኛውን እንደሚስሙ ይጠፋቸውና ይቆማሉ። ያን ጊዜ እናቶቻቸው ይጠሯቸዋል።

ባለፈው ፋሲካ ሄጄ ነበር። ምሳ ሲቀርብ እንደ ልማዳችን ለማስታጠብ ማሰሮውንና መታጠቢያውን ይዤ ፊታቸው ተንበረከክሁ። ግራ እጃቸውን ዘረጉ። ውኃውን አፈሰስሁ። አንድ እጅ ብቻውን አይታጠብም፤ የሚያሸው የለውም። ውኃው በጣቶቻቸው መካከል እያለፈ ወረደ። እጃቸው ግን እንደነበረ ነው፤ በጣቶቹ ላይ የአፈር ቅሪት አለ። ማሰሮውን አስቀመጥሁና በሁለት እጄ ይዤ ላሽላቸው ስል ቀስ ብለው ሳቡት። በቀሚሳቸው ጠረጉት። ሰው ሁሉ ስለሚያወራ ማንም አላየም።

ከሐኪም ቤት ከወጡ ወዲህ አላናገሩኝም። ሰላምታ ስልክላቸው ደህና ትሁን ይላሉ እንጂ ለእኔ ብለው የተናገሩት ቃል የለም። ያን ቀን መታጠቢያውን ይዤ ስነሣ ግን ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ሳይቆጡ፣ እንዲህ አሉኝ፦

"አንቺ እኮ ዝም ማለት የምታውቂ ልጅ ነበርሽ።"