ወንዙ መሃል የሚጠፋው ሞተር

ደብረ ማርቆስ ውስጥ የመስኖ ፓምፕ ወይም የወፍጮ ሞተር እምቢ ያለው ሰው መጨረሻው ሱሩር ዘንድ ነው። ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ፣ ባጃጆች በሚታጠቡበት መንገድ ዳር፣ ከአባቱ የወረሳት የቆርቆሮ ቤት አለችው። ሃምሳ ሦስት ዓመቱ ነው። እጁን ያማ ሰው የለም፤ አንደበቱን ግን የማያማው የለም። ሰላምታውን በግማሽ፣ መልሱን በሩብ ነው የሚሰጠው። ሚስቱ ሀጀራ፣ «እኔን ያገባኝ በስንት ቃል መሰላችሁ? በሁለት» እያለች ጎረቤት ታስቃለች። ሱሩር አይቆጣም። ሥራ የሚያውቅ ሰው ብዙ መናገር አያስፈልገውም ብሎ ያምን ነበር፤ እውነቱን ለመናገር፣ በዚህ ጠባዩ ትንሽ ይኮራም ነበር።

ሌላም ልማድ አለው። ሞተር ሲመጣለት አንድ ብሎን ከመፍታቱ በፊት ያስነሳውና፣ በራሱ ጊዜ እስኪጠፋ ድረስ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጠዋል። የቸኮለ ደንበኛ፣ እንደሚጠፋማ ነግሬህ የለም እንዴ፣ ፍታና እየው እንጂ ቢለው ጆሮ አይሰጠውም። አጠፋፉን መስማት አለበት። የካንዴላ ችግር ያለበት ሞተር ድንገት ነው ጸጥ የሚለው። ነዳጅ የተጠማ ሞተር ግን መጀመሪያ ይደክማል፣ ከዚያ አንድ ጊዜ ከፍ አድርጎ ይጮኻል፣ ከዚያ ይሞታል። ይህን ከአባቱ ተምሮ ሠላሳ ዓመት ኖሮበታል።

ካለፈው መስከረም ወዲህ ግን ይህ ማዳመጥ መከራ ሆነበት። የማንም ሞተር ድምፅ ደከም ሲል የእሱም ልብ አብሮ ይወርዳል። ምክንያቱ ደምለው ነው።

ደምለው ዓባይ ላይ ጀልባ ነጂ ነበር። የወዲህና የወዲያ ዳር ገበሬዎች አዋጥተው የገዟትን ባለሞተር ጀልባ፣ ቆላው መሻገሪያ ላይ አራት ዓመት ነድቷል። በነሐሴ መጨረሻ ሞተሩን ከነቀይ የነዳጅ ታንኩ በሚኒባስ ጣሪያ ላይ ጭኖ መጣ። ይነሳና ይጠፋል አለ። ሱሩር እንደ ልማዱ ሰማው፤ ቤንዚኑ ውስጥ ውሃ ገብቶ ነበር። ውሃውን ደፋ፣ ካርቡሬተሩን ፈታቶ አጠበ፣ መልሶ ገጠመ። ሞተሩ ሳያቋርጥ ሠራ። ደምለው ሳቂታ ሰው ነበር፤ ሲሰናበት፣ «ጋሽ ሱሩር፣ የዚያ መሻገሪያ ሰው ሁሉ ነፍሱ በእጅዎ ናት» ብሎ መርቆት ሄደ።

መስከረም በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ ሌሊቱን ሲዘንብ ባደረ ማለዳ፣ ደምለው ማዶ የሚጠብቁትን ገበያተኞች ሊያመጣ ብቻውን ተነሣ። ሞተሩ ወንዙ መሃል ጠፋበት። ጎርፉ ለመቅዘፊያ የሚበገር አልነበረም። ጀልባዋን ወንዙን ተከትለው ብዙ ከራቁ በኋላ ሁለት ቋጥኝ መሃል ተሰንቅራ አገኟት፤ ሞተሩም ታንኩም እንደታሰሩ ነበሩ። ደምለው አልተገኘም። ወሬውን ለሱሩር ያመጣለት አንድ የሽንኩርት ነጋዴ ነው፤ ጠጥቶ ነበር አሉ ብሎም ጨመረበት። ሱሩር «ኢና ሊላሂ» ብሎ ወደ ሥራው ተመለሰ። ያን ቀን የያዘውን ፓምፕ ሦስት ጊዜ ገጥሞ ሦስት ጊዜ ፈታው። እጄ ይሆን? ካርቡሬተሩ ውስጥ የረሳሁት ነገር ይኖር ይሆን? ይህን ጥያቄ ለሀጀራ እንኳ አላወጣውም። ሁለት ወር ሙሉ ብቻውን ተሸከመው።

ኅዳር ሲገባ የደምለው ታናሽ ወንድም የሺዋስ ሱቁ ደጃፍ መጥቶ ቆመ። ጀልባዋን አውጥተው፣ ሞተሩን አድርቀው፣ አዲስ ቤንዚን ሞልተው እሱ ሊነዳት ሞክሮ ነበር። ሞተሩ ዳር ላይ በአንድ ሳብ ይነሳል፤ እየዘፈነ ይሄዳል፤ ደምለው የጠፋበት ቦታ ሲደርስ ይሞታል። ሦስት ቀን ሞከሩ፣ ሦስት ቀን እዚያው ቦታ። በስንት መከራ በዘንግ እየገፉ ወደ ዳር ይመልሷትና ነዳጅ አልቆ እንደሆን ብለው የታንኩን ክዳን ይከፍታሉ። ነዳጁ አላለቀም። ክዳኑ ሲከፈት ግን ታንኩ በረጅሙ ይተነፍሳል።

የሺዋስ ይህን ሲናገር ድምፁን ዝቅ አደረገ። ከዚያ ትንፋሽ በኋላ ሞተሩ ደግሞ በአንድ ሳብ ይነሳል። ሰዉ ደምለው ነው ብሏል፤ ሳይቀበር ቀርቶ መሃል ላይ ተቀምጦ የሚያስቆማቸው እሱ ነው፣ የሚተነፍሰውም እሱ ነው። ከእንግዲህ ማንም አይሳፈርም። ጋሽ ሱሩርን ጥሩልኝ ያለችው የሟቹ ሚስት የብርጓል ናት።

ሱሩር ዋና አይችልም። ዓባይን ከድልድይ ላይ እንጂ ከጀልባ ላይ አይቶት አያውቅም። መፍቻዎቹን በከረጢት ከተተና ተነሣ።

በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ መሻገሪያው ደረሱ። ደጋውን ለቀው ቁልቁል በወረዱ ቁጥር ሙቀቱ ይጨምር ነበር፤ ሱሩር ጋቢውን አውልቆ ትከሻው ላይ ጣለ። ወንዙ ከክረምቱ ቀንሷል፤ ያም ሆኖ ሰፊ ነው፣ ቡናማ ነው፣ ድምፅ የለውም። ዳር ላይ ካለው ሾላ ሥር አሥር የሚሆኑ ሰዎች ተቀምጠዋል። የብርጓል ጥቁር ለብሳ ከእነሱ ለየት ብላ ቆማ ነበር።

ሰላም ካለችው በኋላ ነገሯን አላስረዘመችም። ደምለው ከፍልሰታ ጾም ጀምሮ ጠላ እንኳ አልቀመሰም። ሰዉ ፊት ለፊቷ ከንፈሩን ይመጥላታል፤ ዞር ስትል፣ ጠጥቶ ነው፣ እንኳን ሰው አላሳፈረ ይላል። አስከሬን ቢኖር ኖሮ አልቅሳበት ይወጣላት ነበር፤ እሱም የለም። ስሙ ብቻ ነው የቀራት፣ እሱንም እየወሰዱባት ነው።

«ሞተሩ የሚያውቀውን ይንገሩኝ» አለችው። «ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ሱሩር ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ረጅም ጠፍር ከጀልባዋ አስሮ ጫፉን ለአራት ጎልማሶች አስያዘ፤ ሁለት ባዶ ጀሪካን ወገቡ ላይ አሰረና የሺዋስን ይዞ ገባ። ሲገባ የጀልባዋን ጠርዝ በሁለት እጁ ጨበጠ። መፍራቱን ሁሉም አየው፤ ያሾፈበት ሰው ግን አልነበረም።

የሺዋስ የሞተሩን ማስነሻ ገመድ ሳበው፤ ሞተሩ ተነሣ። ሱሩር ዓይኑን ጨፈነ። ድምፁ ጤነኛ ነበር፣ እሱ ራሱ ሠርቶ የሰደደው ድምፅ። ዳሩ ራቀ፤ የሰዎቹ ወሬ መሰማቱን ተወ። ከዚያ ሞተሩ ደከመ። አንድ ጊዜ ከፍ አድርጎ ጮኸ። ሞተ። ውሃው ብቻ የጀልባዋን ጎን እየላሰ ቀረ። ሱሩር ዓይኑን ሲገልጥ የሺዋስ ፊቱን በእጁ ሸፍኖ፣ «ይኸው፣ እዚህ ነው» ይላል። ደምለውም የሰማው ይህንኑ ጸጥታ ነበር፤ ይህን ማሰብ ሱሩርን ከበደው።

ክዳኑን እንዳትነካ አለው። ጎንበስ ብሎ ታንኩን በመዳፉ ዳበሰው። ጎንና ጎኑ እንደ ጠኔኛ ጉንጭ ወደ ውስጥ ገብቷል። ያኔ ገባው። ቤንዚን ሲወጣ በምትኩ አየር የሚገባበት መንገድ ከሌለ፣ ታንኩ ራሱን እየመጠጠ ይሄድና በመጨረሻ አንዲት ጠብታ አልለቅም ይላል። ክዳኑን ሲፈታው ያ የተባለው ረጅም ትንፋሽ ወጣ፤ ጎኖቹም ወደ ቦታቸው ተመለሱ። ዳር ላይ እየተነሣ መሃል ላይ የሚሞተውም ለዚህ ነው፤ ሁልጊዜ ሞልተውት ስለሚነሡ ትንፋሽ የሚያጥረው ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ነው። ከፍተው ነዳጁን ባዩ ቁጥር ደግሞ ሳያውቁት ያድኑት ነበር።

መጀመሪያ የተሰማው እፎይታ ነው። ካርቡሬተሩ አይደለም። እጄ አይደለም። ሁለት ወር ደረቱ ላይ የተቀመጠው ድንጋይ ወረደለት፤ ይህን መሸሸግ አይገባም፣ ደስ አለው። ከዚያ ክዳኑን ገልብጦ አየው።

ክዳኑ አናት ላይ የምስማር ጫፍ የምታህል የአየር ቀዳዳ አለች፤ የምትከፈትና የምትዘጋ ትንሽ ብሎን ነበረቻት። ብሎኗ የለችም። በእሷ ፋንታ ሰም ተደፍኖባታል፤ ዘይትና አፈር አጥቁሮት እንጂ የጧፍ ሰም ነው፣ የክሩ ጭራ ሳይቀር ጫፉ ላይ አለ። ሰሙ ላይ የአንድ ሰው አውራ ጣት ተጭኖ ጎድጉዷል።

ሱሩር ሞተሩን ሠርቶ ለደምለው ያስረከበበትን ዓርብ አስታወሰ። አዛን ብሏል፤ ለጁምዓ ሊሄድ እጁን በሳሙና እየታጠበ ነው። ደምለው ውሃው በየት እንደሚገባ ጠየቀው። ሱሩር በእርጥብ ጣቱ ቀዳዳዋን አሳየውና፣ «ሲዘንብ በዚች ነው፤ ዝጋት» አለው። ብሎኗ ጠፍታለች አለ ደምለው። «በተገኘው ዝጋት» አለው። ፎጣውን አንሥቶ ሄደ። ስትነሣ ክፈታት አላለውም። ይህን የማያውቅ ሰው ይኖራል ብሎ አላሰበም፤ ወይም አስቦም ከሆነ፣ አንዲት ቃል መጨመር ከበደው። ጀልባ የሚነዳ ሰው ሆኖ እንዲህ ያለውን አያውቅም ወይ የሚል ይኖራል። አያውቅም። ማን ነገረው?

ጎልማሶቹ ጠፍሩን እየሳቡ ወደ ዳር መለሷቸው። ሱሩር ክዳኑን ይዞ ሾላው ጀርባ ሄደና ሰሙን በስስ ሽቦ ሳይሰበር ፈልቅቆ አወጣው፤ የሸሚዙ ኪስ ከተተው። ቀዳዳዋ ላይ አፉን አድርጎ ነፋ። አየር አለፈ። ተመልሶ የሺዋስን አሁን ብቻህን ሂድ አለው፣ እኔ ከዚህ ልስማ።

ሞተሩ ተነሣ። የሺዋስ ከዳር ተላቀቀ። ሱሩር እዚያ ቆሞ ያሰበውን ለመጻፍ ይከብዳል፤ ግን እሱ ራሱ አልደበቀውም፣ እኛም አንደብቀውም። ሞተሩ እንዲጠፋ ተመኘ። በሠላሳ ዓመት ሥራው ይህን ሲመኝ የመጀመሪያው ነው። ያች ቦታ ላይ ደርሶ ቢሞት ጥፋቱ የቀዳዳዋ አይደለም፤ የቀዳዳዋ ካልሆነ የእሱ አይደለም። ሌላ ነገር ይሁን፤ ሰዉ እንደሚለው ደምለው ራሱ ይሁን። ጀልባዋ ላይ የሟቹ ወንድም አለ፤ ያም ሆኖ፣ ጥፋ፣ ጥፋ እያለ ለመነው።

ሞተሩ አልጠፋም። ያችን ቦታ አለፈ፣ ጠፍሩ እስኪወጠር ሄደ፣ ዞሮ ተመለሰ፤ ድምፁ አንዴም አልደከመም። ሾላው ሥር ያሉት ሁሉ ብድግ አሉ፤ አንዲት አሮጊት እልል አለች። የሺዋስ እያለቀሰ እየሳቀ ወረደና ምን ነበር ጋሼ አለው። ቆሻሻ ነበር ቢል ይበቃ ነበር። ቆሻሻም እኮ ነበር።

ሱሩር የየሺዋስን ጥያቄ ትቶ ወደ የብርጓል ዞረ።

«ባልሽ አልጠጣም ነበር» አላት፣ ሁሉም እንዲሰማ። «ታንኩ አየር አጥቶ ነው ሞተሩ የጠፋበት። ይህችን ቀዳዳ ዝናብ እንዳይገባባት ዝጋት ያልኩት እኔ ነኝ። ዘጋት። ስትነሣ ክፈታት ግን አላልኩትም።»

ጎልማሶቹ ጠፍሩን እንደያዙ ቀሩ። የብርጓል ወደ ወንዙ ዞረች።

«ክፈታት ቢሉት ኖሮ ይከፍታት ነበር?»

ሱሩር ደምለውን አሰበው። ዝጋት ቢሉት ያን ያህል አጥብቆ፣ በአውራ ጣቱ ተጭኖ የዘጋ ሰው ነው።

«ይከፍታት ነበር» አላት።

ያኔ ተቀመጠች። የምትቆጣ፣ የምትረግመው መስሎት ጠበቀ፤ ቢረግሙት ይቀለው ነበር። እሷ ግን ጧፉን ከአገልግሉ አውጥታ የሰጠችው እሷ መሆኗን፣ በዚያ ዝናብ ማለዳ ደምለው እየሳቀ እሳት ዳር ሰሙን ሲያላላው ማየቷን፣ ለምን እንደሆነ አለመጠየቋን ቀስ ብላ ተናገረች። ከዚያ እጇን ዘረጋች። ሱሩር ሰሙን ከኪሱ አውጥቶ መዳፏ ላይ አኖረላት። ጎድጓዳው ላይ የራሷን አውራ ጣት አሳረፈችበት። የእሷ ጣት ትንሽ ነው፤ ዙሪያውን ክፍት ቦታ ተረፈ።

«ጣቱ ነው» አለች። «ከሱ ያገኘሁት ይህን ብቻ ነው።» የነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረችው። ከዚያ ቀና ብላ፣ «ነገ እሁድ ነው፤ ቅዳሴ ሲወጣ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ቆመው አሁን ያሉትን ይድገሙልኝ» አለችው።

ደገመላት። በሕይወቱ ገብቶበት የማያውቀው ግቢ በር ላይ፣ ኮፍያውን በእጁ ይዞ፣ ነጭ የለበሰ ሕዝብ ፊት ቆሞ ሁሉንም ከዝጋት እስከ ክፈታት ተናገረ። ጠጥቶ ነበር ያሉት ሰዎች እዚያው ነበሩ። አንዳንዶቹ አንገታቸውን ደፉ፤ አንዳንዶቹ ሱሩርን እስከ ዛሬ ሰላም አይሉትም። አይፈርድባቸውም።

ጀልባዋ ዛሬም ታሻግራለች፤ የሺዋስ ከመነሣቱ በፊት ቀዳዳዋን በጣቱ ይዳስሳል። ሱሩርም ማርቆስ ቆርቆሮ ቤቱ ውስጥ አለ፤ አሁን ግን ደንበኞቹ የሚያሙት በሌላ ነው፤ ወሬኛ ሆነ ይሉታል። የሠራውን ዕቃ ለባለቤቱ ሲያስረክብ ዝጋ ያለውን ሁሉ መቼ እንደሚከፈት ይነግራል፤ ይደግማል፤ ሰውየው መንገድ ከጀመረ በኋላ ባጃጁ ድረስ ተከትሎ ይነግረዋል። በቀደም ከቁይ ከተማ የመጣ አንድ የወፍጮ ባለቤት፣ ጋሽ ሱሩር፣ የእኔ ሞተር እኮ እንዲህ ያለ ቀዳዳ የለውም አለው። ሱሩር እንደሌለው ያውቃል። የሰውየውን እጅጌ ይዞ ግን እንደገና ከመጀመሪያው ነገረው።