ነፃው አሸዋ

ባለቤቴ ሰላሁዲን ቆቦ ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ የላብራቶሪ ባለሙያ ነው። ቀኑን ሙሉ ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሶ የሰው ደም ሲያይ ይውላል። የእኛ አገር ሰው ነጭ ጋዋን የለበሰውን ሁሉ ዶክተር ስለሚል እሱንም ዶክተር ይሉታል። መጀመሪያ ሰሞን «ኧረ እኔ ዶክተር አይደለሁም» እያለ ሊያርም ይሞክር ነበር፤ ኋላ ሰለቸውና ተወው። የመጣው ከቦረና ነው፣ ከወሎው ቦረና፣ ከደጋው። ቆቦ ሲመደብ ጥቂት ሠርቶ ሊቀየር ነበር ሐሳቡ፤ እኔን አገባና ቀረ።

ጥንቁቅ ሰው ነው። አንድ ኪሎ ቲማቲም ለመግዛት ገበያውን ከዳር እስከ ዳር ካልዞረ እጁ ወደ ኪሱ አይገባም። እናቴ በሕይወት ሳለች «ልጄ፣ ይሄ ሰው አንቺንም እንዲህ ገላብጦ አይቶ ነው ያገባሽ?» እያለች ትስቅብኝ ነበር። እኔ ግን የወደድኩት ለዚሁ ነው። የችኩል ወንድ ጣጣ አባቴ ቤት እያለሁ ጠግቤዋለሁ። ይሄኛው በጥድፊያ አይሳሳትም ብዬ አገባሁት፤ እውነትም በጥድፊያ አልተሳሳተም። ቀስ ብሎ፣ መትሮ፣ አስልቶ ተሳሳተ።

ነገሩ የቤት ነገር ነው። ከተጋባን ጀምሮ የምንኖረው በኪራይ ነው፤ አከራያችን ደግሞ መስከረም በጠባ ቁጥር እንኳን አደረሳችሁ ብላ ኪራይ ጨምራ ትሄዳለች። የእሱ ዕቁብና የእኔ የእጅ ወርቅ ተደምሮ ቆቦ ላይ አዲስ ቤት አያሠራም። የቦታውን ዋጋ መስማቱ ራሱ ያማል። በኋላ ሮቢት ላይ፣ አስፋልቱ ዳር፣ አንድ አሮጌ ቤት እንደሚሸጥ ሰማ። አባትየው ሞተዋል፤ ልጃቸው ኤፍሬም ወልድያ ነው የሚኖረው፣ የመመለስ ሐሳብም የለው። በጦርነቱ ጊዜ በርና መስኮቱ ተነቅሎ ተወስዷል፣ ጣራው ወንፊት ሆኗል። ዞር ብሎ የሚያየው አልነበረም።

«ለእኛ የሚሆነን የተሰበረ ቤት ነው» አለኝ ሰላሁዲን። «ጠግነን፣ ክፍል ክፍል አድርገን እናከራየዋለን። ለአስተማሪ፣ ለሾፌር፣ ለነርስ። ኪራዩ ተጠራቅሞ የራሳችንን ያሠራናል።»

ወላሂ፣ ከእሱ ይልቅ እኔ ነኝ በሐሳብ የገባሁበት። ገና ውል ሳንፈርም የትኛው ክፍል ለማን እንደሚከራይ ስደለድል አደርኩ። እሱ ግን ሳያሰላ የሚገዛ ሰው አይደለም። «የሚያጠፋን የቤቱ ዋጋ አይደለም፣ ጥገናው የሚበላው ነው። መጀመሪያ እሱን እንወቅ» አለ። ደግሞም ለማንም እንዳልናገር አስጠነቀቀኝ፤ ወሬው ከወጣ ሌላ ገዢ ይገባል፣ ሻጩም ዋጋ ይሰቅላል። ትክክል ነው፤ እኛ አገር ቤት የሚገዛ ሰው ቁልፉን እስኪጨብጥ ድረስ ለገዛ ጥላውም አይናገር። እኔም ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ታላቅ ወንድሜ ሙሀመድሰይድ እዚያው ሮቢት ከምንገዛው ቤት ጀርባ ነው የሚያርሰው፤ ለእሱም አልነገርኩት። መንገድ ላይ ካገኘኝ ልጠይቃችሁ መጥቼ ነው እለው ነበር።

ቅዳሜ ቅዳሜ እሱባለው የሚባለውን ግንበኛ ይዘን ሮቢት እንወርዳለን። እሱባለው ግድግዳውን በመዶሻው እጀታ ቆርቆር ያደርግና ጆሮውን ይሰጣል። ምሰሶውን በምስማር ይወጋና ምስማሩ ሰተት ብሎ ሲገባ ራሱን ይነቀንቃል።

«ዶክተር፣ ይሄኛው ሞቷል። ምስጥ ጨርሶታል።»

«ያኛውስ?»

«እሱ ደግሞ ጣር ላይ ነው።»

ሰላሁዲን እየሳቀ ስልኩ ላይ ይጽፋል፤ አጠና፣ ቆርቆሮ፣ በር፣ መስኮት፣ ለምርጊቱ ጭድ፣ ለወለሉ ሲሚንቶ። ያንን ቅዳሜ የጻፈውን በሚቀጥለው ቅዳሜ ይሰርዘዋል። ሲሚንቶ ትናንት በነበረበት አያድርም፣ ቆርቆሮም እንደዚያው። ባለ ሱቁን «ይሄ ዋጋ እስከ መቼ ይቆያል?» ብሎ ሲጠይቀው፣ ሰውየው «ከዚህ እስክትወጣ» አለው። ሰላሁዲን አልተቆጣም። ለጭማሪው ብሎ በሁሉም ላይ ትንሽ ትንሽ ከፍ አደረገ፤ ድምሩም ከአቅማችን በላይ ሆነና ወደ ቆቦ ተመለስን።

አሸዋውን ያየው በሌላ ቅዳሜ ነው። ከቤቱ ጀርባ፣ ከአጥሩ ጀምሮ እስከ ግራሩ ድረስ፣ ንጹሕ አሸዋ ተንጣሎ ተኝቷል። ሰላሁዲን ተንበርክኮ ዘገነ፤ በመዳፉ አሸት አሸት አደረገው። አፈር የለበትም።

«እሱባለው፣ ይሄ ለሥራ ይሆናል?»

«ይሆናል ወይ ትለኛለህ? ወርቅ ነው እንጂ! አሸዋ መግዛት ቀረልህ፣ የመኪናም ቀረልህ።»

ባሌ ስልኩን አወጣና የአሸዋውን ዋጋ ሰረዘ። ድምሩ ወረደ። አቅማችን ውስጥ ገባ። እንዲህ ፊቱ ሲበራ ያየሁት ልጃችን የተወለደች ዕለት ብቻ ነው።

«ይሄን ሁሉ አሸዋ ማን አመጣው?» አልኩ።

«አላህ ነዋ» አለ፤ ሁለቱም ሳቁ። እሱባለው ግን የዚሁ አገር ሰው ነውና «ድሮ ጎርፍ ይሄድበት ነበር፤ አሁን ውሃው መንገዱን ለውጧል» ብሎ ጨመረ።

አልዋሸም። እኔም የማውቀው ነው፤ እዚያ ነው ያደግሁት። የእኛ ቆላ የሚጠግበው ከራሱ ሰማይ አይደለም። ዝናቡ ወደ ጊዳን፣ ወደ ደጋው ይጥላል፤ ጎርፉ ግን እኛ ጋ ፀሐይ ወጥቶ ሳለ ይደርሳል። ገበሬው በአፈርና በቅርንጫፍ እየገደበ ያንን ጎርፍ ከወንዙ ይጠልፍና ወደ ማሽላው ይመራዋል። ጠለፋ የምንለው ይሄን ነው። በጦርነቱ ዓመታት የሮቢቱ ጠለፋ ፈረሰ፣ የሚሠራው ጠፋ፣ ውሃውም በታች በኩል መሄድ ለመደ። ይሄን ሁሉ ለሰላሁዲን ነገርኩት።

«አንች ደግሞ! በዚህ ድርቅ ጎርፍ ትፈሪያለሽ?» አለኝ።

ደገኛ አይደል፤ ለእሱ ጎርፍ ማለት ራስህ ላይ ዘንቦ ከደጅህ የሚሄድ ነው። ቢሆንም ቃሌን መሬት አልጣለውም። ስልኩ ላይ ከሁሉም በታች «ቦይ ማስተካከያ» ብሎ ጥቂት ብር መደበ። ጎርፉ በዚያ አለቀ።

ሰኔ ላይ ወርቄን ሸጥኩ፣ እሱ ዕቁቡን አወጣ፣ ቀብድ ከፈልን። ቀሪው ሐምሌ መጨረሻ ላይ ሊከፈል ተፈራረምን። ገዢ ውሉን ካፈረሰ ቀብዱ ይቀርበታል፤ ሕጉ እንዲያ ነው።

ብዙም ሳይቆይ ወንድሜ ቆቦ ድረስ መጣ። ሙሀመድሰይድ የውሃ አባት ነው፤ ጎርፉ ሲመጣ ማን ቀድሞ ማን ተከትሎ እንደሚያጠጣ የሚዳኝ፣ ገበሬው የመረጠው ሰው። ውሃ አቀረብኩለት፣ አልጠጣም። የሆነ ነገር እንዳለ ያኔ ገባኝ።

«ሰላሁዲን፣ ቀብድ መክፈላችሁን ትናንት ነው የሰማሁ» አለ። «መባረክ ነበረብኝ፤ ግን ሌላ ነገር ይዤ ነው የመጣሁ። ዘንድሮ ሰማዩን እያየኸው ነው። ማሽላው ቅጠሉን ጠቅልሏል። ሰዉ ተሰብስቦ ያን የፈረሰውን ጠለፋ እንሥራ ብሏል፤ ጀምረነዋልም።»

«ጥሩ ነዋ፣ አያ ሙሄ።»

«ጥሩማ ጥሩ ነበር። ውሃው የሚወርደው በዚያ ቤት ጀርባ ነው።»

ባሌ እንደ ሥራው ጠየቀ። ስፋቱ ምን ያህል ነው? ከፍታውስ? በክረምት ስንቴ ይመጣል? ወንድሜ አንዴ ቅልጥሙን፣ አንዴ ጉልበቱን እየነካ አሳየው፤ አንዴ እጁ ጭኑ ላይ ደረሰ። ሰላሁዲን ያንን እጅ አየ።

«ትንሽ ወዲያ ማዞር አይቻልም? የውሃ አባቱ እርስዎ አይደሉ?»

«አካፋዩ ነኝ እንጂ ውሃው የኔ አይዶል። ወዲያ ባዞረው ሰው ያለበት የነአስረሳሽ ቤት ላይ ነው የሚሄደው። ልተወው ብልስ? ያ ሁሉ ሰው ልጆቹን ምን ያብላ? የኔም ልጆች አሉበት።» ወደ እኔ ዞረ። «አንች እንኳ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት፣ እህቴ?»

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ባሌ ግን አላረፈም። እሱባለውን ጠርቶ ውሃ የሚመልስ የድንጋይ ግንብ አስገመተ። እሱባለው ቦታውን በእርምጃ ለካ፤ ድንጋዩን፣ ሲሚንቶውን፣ ሽቦውን ተራ በተራ ጠራ። ሰላሁዲን ደምሮ ሲጨርስ ስልኩን ገልብጦ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ግንቡ ከቤቱ ይበልጣል። ኤፍሬም ጋ ደወለ። ኤፍሬም ክፉ ሰው ቢሆን ደስ ባለኝ፣ የምረግመው ባገኘሁ። «ወንድሜ፣ ውሃ የእግዚአብሔር ነው፣ እኔ ምን ላድርግ? ብሩን ለእናቴ ሕክምና አውጥቼዋለሁ። ቢኖረኝ እመልስልህ ነበር» አለው። ባሌ «እናትህን ይማርልህ» ብሎ ዘጋ።

ውሉን ብናፈርስ ከወርቄም ከዕቁቡም የከፈልነው ቀብድ ቀለጠ። ብንገዛ ውሃ ገዛን። እንዲያው ሐምሌን ዝም ብለን መጠበቅ ያዝን። ሐምሌም ደርቆ መጣ። የወንድሜ ማሽላ ከጉልበት አላልፍ አለ። አርብ ዕለት ወንዶቹ ለዝናብ ሊሰግዱ ሜዳ ወጡ፣ ሰላሁዲንም አብሮ ወጣ። ሲመለስ እግሩን እየታጠበ «ዱዓ አደረግን» አለኝ።

«አንተስ?»

«ምን ላድርግ? አሚን አልኩ።»

ክርስቲያኖቹም ምህላ ይዘዋል። አገሩ ሁሉ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ ሳያውቀው በእኛ ቤት ላይ ይጸልያል። እኔ መስገጃዬ ላይ ተቀምጬ ምን እንደምለምን ጠፋኝ። ዝናቡን ላክ ልበል? አትላክ ልበል? የወንድሜ ልጆች ፊት ይመጣብኛል፤ ስልኩ ላይ ሲደምርና ሲሰርዝ የከረመው ባሌም ይመጣብኛል። ምንም ሳልል እጄን ፊቴ ላይ አሳልፌ እነሳለሁ።

ክፍያው ሲቃረብ ሰላሁዲን እንደገና እንለካው አለ። ምኑን እንደሚለካ አልጠየቅሁትም። ሮቢት ስንደርስ ሜትሩን ይዞ ወደ ቤቱ ጀርባ ሄደ፤ ከግድግዳው ሥር አሸዋውን በእጁ ይዝቅ ጀመር። መሠረቱ ድንጋይ ከሆነ ውሃ አይበላውም፣ ሌላው ይታደሳል፣ ነው ሐሳቡ። እኔ ራቅ ብዬ ከግራሩ ሥር ቆምኩ። ሸሚዙ በላብ ጀርባው ላይ ተጣብቋል። እንዲህ ያለ ሰው ምን አጠፋ፣ አልኩ በሆዴ።

«ፈሪሀ! ድንጋይ አለው!» ብሎ ጮኸ። ክንዱ እስከ ክርኑ አሸዋ ውስጥ ገብቷል። «ድንጋይ ነው! ነይ እይ!»

በላያችን ሰማዩ ጥርት ብሏል። ድምፁ የመጣው ከምዕራብ ነው፣ ብዙ መኪና በአንድ ጊዜ የተነሣ ይመስላል። ከማሳው ሰው በያለበት ብድግ አለ፤ ዶማና አካፋ ይዞ ወደ ጠለፋው ሮጠ። ወንድሜ ከሁሉም ፊት ነበር፣ ሽርጡን ወደ ላይ ሸብ አድርጎ እየጮኸ። «ተነስ! ከዚያ ተነስ!» አልኩት ባሌን። ተነሣ፤ ግን አልሮጠም። ሜትሩን እያጠፈ ቆመ።

ውሃው ቀይ አፈርና ቅርንጫፍ ይዞ ገባ። በግድቡ ዞረ፣ በአሸዋው ላይ ወረደ፣ በቤቱ ጀርባ አለፈ። ድንጋዩ እውነትም ነበር፣ አልተነቃነቀም። ከድንጋዩ በላይ ያለው ጭቃ ግን እንደ ራሰ ዳቦ ፈረፈረ፤ ግድግዳው ወደ ውስጥ ቁጭ አለ፤ ቆርቆሮው ተከትሎት ወረደ። ውሃው ግን ቤቱን አልፎ ሄዷል። ሦስት ወር አፉን ከፍቶ የጠበቀው ማሽላ ውስጥ ገባ፤ በመስመሮቹ መካከል እየተስለከለከ ሄደ። ከወዲያ ማዶ ሴቶቹ እልል አሉ።

ሰላሁዲን ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ። ስለ ግድግዳው ሊነግረኝ የዞረ መስሎኝ ነበር። ዓይኑ ግን አፌ ላይ ነበር። እኔም እልል እያልኩ ነበር።