ከቱርክ ግንብ ሥር ያሉት አሥራ አንድ

ትእዛዙ የደረሰን ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። የቱርክ ግንብ ያለበትን ኮረብታ ያዙ፣ ተተኪ ጦር እስኪመጣ እንዳትለቁ የሚል ነበር። ሃያ ስድስት ነበርን። የሶማሊያ ጦር በምሥራቅ በኩል የገባበት ጊዜ ነው። እኔ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት የወሎ ልጅ ነበርሁ፤ ጥይት አመላልሳለሁ፣ ቁስለኛ አስራለሁ።

ይህን የምጽፈው እዚህ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ላለችው የልጅ ልጄ ለሜሮንና ለእኩዮቿ ነው። ትምህርት ቤቷ የኦቶማን መንግሥት እንዴት እንደ ወደቀ አስተምሯት፣ ከፍርስራሹ የወጡትን አገሮች በየቀለማቸው ቀብታ አሳየችኝ። እኛንስ ይነካናል ወይ ብዬ ብጠይቃት በእንግሊዝኛ አይነካንም አለችኝ። ይነካናል። እኔ ከአራተኛ ክፍል አላለፍሁም፤ ግንቡን ግን በጀርባዬ ተደግፌዋለሁ።

ኮረብታው ላይ የወጣነው እኩለ ቀን ላይ ነው። ግንቡ ግማሹ ፈርሷል፤ የቀረው ደረት ይደርሳል። መትረየስ ተኳሹ ገበየሁ ከሁላችን ረጅም ስለነበረ ጎንበስ ብሎ መሄድ ግድ ሆነበት። «ቱርክ ይህን ሲሠራ እኔን አላሰበም» አለና ሳቅን።

አሥር አለቃ ይመር የአገሬ ልጅ ነው፤ ሙስሊም፣ በልጅነቱ ሼኽ ዘንድ ቁርኣን የቀራ። የግንቡን ነገር የነገረን እሱ ነው። የኢስታንቡሉን ሱልጣን ስም ይዞ የግብፅ ወታደር እዚህ ድረስ መጥቶ ነበር አለ። ወታደሩ ወጣ፤ ባሕሩን እንግሊዝና ጣሊያን ተካፈሉት፤ ቆይቶ ሱልጣኑም ወደቀ። ከዚያ ወዲህ የበቀለው አገር ሁሉ ባንዲራ አውጥቶ መሥመር አሰመረ። «እኛም የመጣነው መሥመሩን ልንጠብቅ ነው» አለ። አላማረረም። ጠመንጃውን ወለወለና ምሽጉን መቆፈር ቀጠለ።

በማግስቱ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተኩስ ተከፈተ። የመጀመሪያው ሞርታር ከኋላችን ወደቀ። ሁለተኛው ከፊታችን። ሦስተኛው መካከላችን። ከዚያ እግረኛው ወጣ። ሁለት ጊዜ መለስነው። ሦስተኛው ላይ እስከ ግንቡ ደረሱ፤ በድንጋይም በሰደፍም ተማታን። አምስት ሰዓት ላይ ወደ ቆላው ወረዱ። ኮረብታውን አልለቀቅንም።

ይመርን የመታው ሞርታሩ ነው። ሆዱን ይዤ ባስርም ደሙ አልቆም አለኝ። እሱም አውቆታል።

«ዘነቡ፣ ያለ ሶላት አፈር እንዳታለብሱኝ» አለኝ።

«እሺ» አልሁት።

ብዙ ሳይቆይ ሞተ። እሺ ማለት ቀላል ነው። ሌላው ሙስሊም ጓዳችን ቆስሎ ወደ ኋላ ተወስዷል። ከቀረነው የሙታን ሶላት የሚያውቅ አንድም ሰው የለም። መቃብሩን ግን አውቃለሁ። በእኛ አገር ሙስሊም ጎረቤት ሲሞት ክርስቲያኑ ይቆፍራል፤ አባቴም ቆፋሪ ነበር። ሴት መቃብር አፍ አትደርስም፤ እኔ ግን ገብቼ ቆፈርሁ። ሬሳው ፊቱን ወደ ሰሜን እንዲያደርግ አድርጌ፣ ከጉድጓዱ ግርጌ በጎን በኩል ሬሳው የሚተኛበትን ዋሻ መሳይ ቦታ ፈለፈልሁ።

አንድ ምርኮኛ ነበረን፤ ጭኑን ተመትቶ ቁስሉን ያሰርሁለት እኔ ነኝ። ድሬዳዋ ሲነግድ የቆየ ሰው ስለሆነ አማርኛ ይሞክራል። ሄጄ ለሟቻችን እንዲሰግድለት ለመንሁት።

«ለእሱ ብቻ አልሰግድም» አለ። «የእኔ አራቱም አሉ።»

አራቱ የወገኖቹ ሬሳዎች ከግንቡ በታች በፀሐይ ላይ ተዘርግተው ነበር። ገበየሁ ይህን ሰምቶ መጣ። ይመርን ከገዳዮቹ ጎን ልታስተኚው ነው ወይ፣ እነሱን ጅብ ይብላቸው አለኝ። እኔም ተቆጣሁ። ገበየሁ ከይመር ጋር ከአንድ ቆርቆሮ የበላ ሰው ነው፤ ንዴቱ ገብቶኛል። ግን ለአንዱ የሚገባው ለሌላው የማይገባበት ምክንያት አልታየኝም። እነዚያም እናት አላቸው።

«አንተ ሶላቱን ታውቃለህ?» አልሁት ገበየሁን።

ወደ መትረየሱ ተመለሰ። የመቶ አለቃችን ነገሩን ሰምተው ቆዩና፣ «ፀሐይ ሳትገባ ጨርሱ» ብለው ሄዱ።

ምርኮኛው እያነከሰ መጥቶ ጉድጓዴን አየና ራሱን ነቀነቀ። እኛ ወሎ ላይ ሆነን የምናውቀውን ሰሜን ይዤ ነበር የቆፈርሁት፤ ከዚያ ኮረብታ ግን መካ ትንሽ ወደ ግራ ነው። በእጁ አሳየኝ። ድንጋዩ እንደ ብረት ነበር፤ እንደገና ቆፈርሁ። የአራቱንም ስጀምር ሁለት ጓዶች አካፋ ይዘው መጡ። ገበየሁ አልመጣም።

ለምርኮኛው ከኮዳዬ ግማሹን ውሃ ሰጠሁት። ከንፈሩ ደርቆ ሳለ አንድ ጉንጭ አልጠጣም፤ ለሶላቱ ታጠበበት። አምስቱን በአንድ ረድፍ አስተኛን። ግንቡን ተደግፎ ቆመና አራት ጊዜ አላሁ አክበር አለ። ከዚያ አፈር አለበስናቸው፤ የእኛን ስድስት ክርስቲያኖችም ቀበርን። ቄስ አልነበረም፤ አቡነ ዘበሰማያት ያስባለን ገበየሁ ነው። ምርኮኛው እስክንጨርስ አልተቀመጠም። አመሻሽ ላይ ወደ ኋላ ወሰዱት፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን አላውቅም።

ዛሬ የቀድሞ ወታደሮች በዓመት አንድ ቀን ሲልቨር ስፕሪንግ እንሰበሰባለን። የየግንባሩ ሙታን ሲጠሩ የእኛ ኮረብታ ሰባት ይባላል። እኔ ተነሥቼ አሥራ አንድ እላለሁ። ጠላት አይቆጠርም የሚሉኝ አሉ። አሥራ አንዱንም አፈር ያለበስሁ እኔ ነኝ፤ የአንዱ ሬሳ ከሌላው አልቀለለኝም። ገበየሁ ከአስፐን ሂል በአውቶቡስ እየመጣ አጠገቤ ይቀመጣል። እስከ ዛሬ አልተስማማም። ግን ስቆጥር አያቋርጠኝም።