ግማሽ ሰዓት የምትርቀው ታይላንድ

ልጅ እያለሁ ታይላንድ ማለት አሜሪካ ውስጥ ከምንኖርባት ከስኮትዴል በመኪና ግማሽ ሰዓት የምትርቅ አንዲት ግቢ ነበረች። ጣሪያው በወርቅማ ቀለም ያጌጠ ቤተ መቅደስ፣ ከፊቱ ሰፊ ሣር፣ ሣሩ ላይ ደግሞ ድንኳን በድንኳን። ኤፕሪል ላይ የታይላንድ ሰዎች አዲስ ዓመታቸውን ሲያከብሩ ግቢው ገበያም፣ መሳለሚያም፣ ምግብ ቤትም ይሆናል። ወደዚያ የወሰደችኝ ፕሎይ ናት። ፕሎይ አፓርታማችን ውስጥ ከእኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ ትኖር ነበር፤ በትምህርት ቤቱ አውቶቡስ ውስጥ አጠገቧ ቦታ የምትይዝልኝ ብቸኛዋ ልጅም እሷ ነበረች።

እናቴን ማስፈቀድ ግን የዋዛ አልነበረም። አሜሪካ ከገባን ብዙም አልቆየንም፤ ሰው ቤት ብቻዬን እንድሄድ እንኳ አትፈቅድም፤ ጭራሽ የጣዖት ቤት፣ ያውም በሁዳዴ። አልቅሼ፣ አኩርፌ፣ ሳልበላ ተኝቼ መጨረሻ ላይ ተሸነፈች። "እሺ። ግን እኔም አብሬሽ እሄዳለሁ" አለች። ነጠላዋን ለበሰች፤ እዚያ የጾም ነገር አይገኝም ብላ ቦርሳዋ ውስጥ ቆሎ ከተተች። የፕሎይ እናት መኪና ውስጥ ከኋላ ተቀምጣ እስክንደርስ ድረስ እጄን ጥብቅ አድርጋ ይዛ ነበር። እኔ ደስታዬን መደበቅ አቅቶኝ ከፕሎይ ጋር ስንሾካሾክ በክርኗ ትጎሽመኛለች።

መጀመሪያ የገባነው ቤተ መቅደሱ ውስጥ ነው። እናቴ በሩ ላይ የጫማ ክምር ስታይ ፊቷ ትንሽ ፈታ አለ። "ጫማ ያወልቃሉ እንዴ?" አለችኝ፤ ለእሷ ይህ ትልቅ ነገር ነበር። ውስጥ ግን ያ የሚያብረቀርቅ ሐውልት ሲገጥማት ዓይኗን ምንጣፉ ላይ ተክላ፣ በነጠላዋ ስር ማንም ሳያያት አማተበች። እኔ አየኋት።

ገበያው ላይ ስንወጣ ሌላ ሴት ሆነች። አንድ ድንኳን ስር የታሰረ ቅጠል አንስታ አሸተተችና "ይሄማ ጠጅ ሣር ነው" አለች፣ የጠፋ ዘመዱን እንዳገኘ ሰው። ሥጋ የሚጠበስበት ጋ ስንደርስ አፍንጫዋን በነጠላዋ ይዛ በሩጫ አሳለፈችኝ። አንዲት ሴትዮ ጥሬ ፓፓያ ከቃሪያ ጋር በሙቀጫ ስትወቅጥ ግን ቆማ አየች፤ ዘነዘና አያያዟ አላማራትም፣ ይሉኝታ ያዛት እንጂ ተቀብላ ልትወቅጥላት ነበር። ቀጥሎ ፕሎይ ማንጎና ነጭ ሩዝ በሳህን ይዛ መጣች። እናቴ ሩዙ ላይ የፈሰሰውን ነጭ ነገር እያየች "ኖ ሚልክ?" ብላ ጠየቀች። የኮኮናት ነው ተባለች። አንድ ማንኪያ ቀመሰች፣ ሁለተኛ ደገመች። ቆሎው ከቦርሳዋ ሳይወጣ ዋለ።

ሁሉ ነገር የተበላሸው ከዚያ በኋላ ነው። ብርቱካናማ ልብስ የለበሱ አንድ ሽማግሌ መነኩሴ በአጠገባችን ሲያልፉ ሰዉ ሁሉ ዝቅ ብሎ እጅ ነሣ። እናቴ መነኩሴ ሲያልፍ ሳትሳለም ቆማ አታውቅም። እጇ ከሐሳቧ ቀደመ። ብድግ ብላ ነጠላዋን አስተካክላ ጎንበስ አለችና፣ መስቀል ስላልያዙ እጃቸውን ልትስም ያዝ ልታደርግ ስትል፣ ሽማግሌው ደንግጠው ወደ ኋላ አፈገፈጉ። እጃቸውን ልብሳቸው ውስጥ ከተቱ። አጠገባችን የነበሩት ሴቶች በአንድ ላይ ትንፋሻቸውን ሳቡ። እናቴ እንዳጎነበሰች ቀረች።

ቀና ስትል ፊቷን ለማየት ፈራሁ። ቀጥ ብላ ወደ መውጫው ሄዳ አንድ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀመጠች። "ተጸየፉኝ" አለች። "ጥቁር ስለሆንኩ ነው። ሁለተኛ ከእነዚህ ሰዎች ጋር እንዳላይሽ፤ ከልጅቷም ጋር በቃሽ።" ይህን ያህል ተቆጥታም ወደ ቤት የሚወስዳት መኪና የእነዚያው ሰዎች ስለነበር የትም መሄድ አልቻለችም። እኔ አጠገቧ ቆሜ ሰኞ አውቶቡሱ ውስጥ ከማን ጋር እንደምቀመጥ እያሰብኩ እንባዬ ይወርድ ነበር።

የፕሎይ እናት እየሮጠች መጣች። እናቴ እግር ስር ሣሩ ላይ ተቀመጠችና በቋንቋዋ መናገር ጀመረች። ፕሎይ ወደ እንግሊዝኛ ታመጣዋለች፤ እኔ ወደ አማርኛ። መነኩሴ ሴት አይነካም፤ ማንንም ሴት፤ ሕጉ ነው። እናቴ አላመነችም፤ ፊቷን አዙራ ወደ ሌላ ትመለከታለች። ያኔ የፕሎይ እናት ራሱን የተላጨ፣ ብርቱካናማ የለበሰ አንድ ወጣት በእጇ አሳየችን። የፕሎይ ታላቅ ወንድም ነበር፤ ለእናቱ በረከት እንዲሆናት ብሎ ለአጭር ጊዜ መንኩሶ። እናትየው ተነስታ ሄደችና ፊቱ ተንበረከከች። ልጁ መሬት ላይ ጨርቅ ዘረጋ፤ እሷ የምግቡን ሳህን ጨርቁ ላይ አስቀመጠች፤ እሱም ከጨርቁ ላይ አነሳ። ጣታቸው አልተነካካም።

"የወለደችውንም?" አለች እናቴ ቀስ ብላ።

ትንሽ ቆይቶ ፕሎይ በብር ቀለም ጎድጓዳ ሳህን አበባ የተነሰነሰበት ውሃ ይዛ መጥታ እናቴ ፊት ተንበረከከች። በእነሱ ዘንድ በዚያ ቀን ልጆች በታላላቆች እጅ ላይ ጥቂት ውሃ ያፈሳሉ፤ ታላላቆች ደግሞ ይመርቃሉ። ይህን ለእናቴ የነገራት የለም። እኔም አላውቅም ነበር። እናቴ ያየችው ልጅ ሊያስታጥባት ሲቀርብ ነው። እጅጌዋን ሰብስባ ሁለት እጇን ዘረጋች፣ ውሃው ሲፈስላት እስከ ክርኗ ድረስ አሽታ አሽታ ታጠበች። ዙሪያውን የቆሙት ሴቶች ሳቃቸውን በእጃቸው ከደኑ። እሷ ግን ምንም ሳትጠረጥር፣ ያስታጠባትን ልጅ ሁሉ እንደምትመርቀው፣ እርጥብ እጇን ፕሎይ ራስ ላይ አኖረች። "እደጊ ልጄ። ተባረኪ። ለወግ ለማዕረግ ያብቃሽ። ክፉ አይንካሽ።" ፕሎይ ቃሉን ሳታውቀው፣ መመረቋን አውቃ፣ እስኪያልቅ አንገቷን ደፍታ ቆየች። የፕሎይ እናት አለቀሰች። ሰኞ አውቶቡስ ውስጥ ቦታዬ ተይዞ ጠበቀኝ።

አሁን ከስኮትዴል ብዙም ሳልርቅ ሎረንስቪል ነው የምኖረው፤ የራሴ ሴት ልጅም አለችኝ። ባለፈው ዓመት ከፕሎይና ከሌሎች ጓደኞቻችን ጋር እውነተኛዋን ታይላንድ አይቼ መጣሁ። ቀኑን ሙሉ ከገበያ ወደ መቅደስ፣ ከመቅደስ ወደ መንገድ ዳር ምግብ ስንዞር እንውል ነበር፤ ደስ ይላል፣ ፎቶውም ብዙ ነው። ግን ማንንም የፈራሁበት፣ ማንም የፈራልኝ ቀን አልነበረም፤ የጎደለብኝም ይኸው ይመስለኛል። እናቴ ቋንቋ ሳይኖራት፣ ኃጢአት መስሎ እየታያት፣ ስለ እኔ ብላ የማታውቀው ቤት ገባች። እኔ ሁሉን አውቃለሁ፣ ምንም አልፈራም፣ የልጄን ጓደኞች ቤት ግን የማውቀው ከመኪና መስኮት ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ልጄን የሕንድ ጓደኛዋ ለበዓል ጠርታት ነበር። እናቴ ከፊት ወንበር አጠገቤ ተቀምጣለች። በሩ ላይ ስደርስ ልጄ ወረደች፤ እኔ መሪዬን ማዞር ጀመርኩ።

"እናትየዋን ታውቂያታለሽ?" አለች እናቴ።

"ቴክስት እንደራረጋለን እማዬ፣ ኢትስ ፋይን። ስትጨርስ ፒክ አደርጋታለሁ።"

እናቴ ነጠላዋን ራሷ ላይ ጣል አደረገች፣ በሩን ከፈተች፣ ጉልበቷን ይዛ ወረደችና የልጄን እጅ ያዘች።

"ፓርክ አድርጊ" አለችኝ።