ጣቷ ገጹ ላይ፣ ዓይኗ ከንፈሬ ላይ

የልጅ ልጄን ያሳደግኋት እኔ ነኝ። እናቷ አረብ አገር ስትሄድ ገና ጡት መተዋ ነበር። አባቷ፣ ማለት የእኔ ልጅ፣ ሌላ ትዳር ይዞ ዘመሮ ከተማ ይኖራል። ስለዚህ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ለማንም አላካፍለውም።

እኔ ፊደል የቆጠርሁት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፣ ልጅ አዝዬ። ቀስ ብዬ አነባለሁ። ልጅቱ ሁለተኛ ክፍል ሆና ፊደሉ አልያዝ ሲላት፣ እኛ ቤት የሚታወቀውን መላ አመጣሁ። አባቴ ዳዊትን ያወቀው መጀመሪያ በጆሮው ነው። የኔታ በቃል ያስጠኑታል፣ ዓይኑ ኋላ ይደርሳል ይባል ነበር፤ ደረሰም። እኔም ከብቱ ከገባ በኋላ የነገውን ምንባብ ጮክ ብዬ አነብላታለሁ፤ ሁለት ጊዜ ከሰማች አንዲት ቃል አትጠፋትም። በማግስቱ ክፍል ውስጥ ጣቷን ገጹ ላይ እየነዳች ትወጣዋለች። ሁለት ዓመት ሙሉ አጨበጨቡላት። እኔ ደግሞ ዓይኗ እስኪደርስ ጠበቅሁ።

አራተኛ ክፍል ስትገባ አዲስ መምህር መጣ፤ ወጣት ነው፣ የቆላ ልጅ፣ የእኛ ብርድ ያንቀጠቅጠዋል። አንድ ቀን ያልተጠና ገጽ ገልጦ አንብቢ አላት። እሷ ያጠናነውን የበግና የቀበሮ ተረት አንድ ቃል ሳትስት ወረደችው። ገጹ የሚያወራው ስለ ውኃ ነበር። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሟ «ሬዲዮ» ሆነ። እሷም ደብተሯን ገብስ ውስጥ ቀብራ ትምህርት ቤት አልሄድም አለች።

አባቷ ሰምቶ በገበያ ቀን መጣ።

«ካላነበበች እዚህ ምን ታደርጋለች? እኔ ዘንድ ትምጣና ሕፃኑን ትያዝልን።»

«ሚስትህ የወለደችውን ሚስትህ ትያዘው።»

«እንግዲያው እስከ ፋሲካ አስነብቢያት። ካልሆነ እወስዳታለሁ።»

አባት ነው። ሽማግሌ ብሰበስብም የሚፈርዱት ለእሱ ነው። በማግስቱ ከዘራዬን ይዤ ትምህርት ቤት ወረድሁ። ርዕሰ መምህሩና ወጣቱ መምህር ቢሮ ውስጥ ነበሩ።

«እማማ፣ ይቀመጡ» አለኝ ወጣቱ።

«መቆም ይሻለኛል። ልጄን ለምን አሳቅህባት?»

«እኔ አልሳቅሁም።»

«ሲስቁም አላስቆምህም።»

አንገቱን ደፋ። «ሰነፍ አይደለችም፣ እማማ። ልጁ ብልህ ሆኖ ፊደሉ ብቻ የሚምታታበት የማንበብ እክል የሚባል ነገር አለ። ኮሌጅ ሳለን ተምረነዋል፤ አንድ ሳምንት» አለ።

«መድኃኒቱስ?»

«መድኃኒት የለውም። ለብቻዋ፣ ቀስ እያሉ፣ ድምፅ በድምፅ ማስተማር ነው። ልዩ ፍላጎት ላላቸው የሚያስተምር ሰው የማውቀው ደብረ ብርሃን ብቻ ነው።»

መንገዱ ሲከፈት ሲዘጋ የከረመበት ዓመት ነው። ሕፃን ልጅ ለብቻዋ የት እልካለሁ?

«እንግዲያው ፈተናውን አንብቡላትና በቃሏ ትመልስ» አልሁ።

ርዕሰ መምህሩ ከወረቀቱ ቀና ብሎ፣ «ለሌሎቹ ልጆች ፍትሐዊ አይሆንም» አለ።

ፍትሐዊ ሲል ከዘራዬን ወለሉ ላይ ተከልሁ። «አንተ የዚህ አገር ልጅ ነህ። የጋራ ሣራችን ጓሳ ለአጨዳ ሲከፈት፣ ጉልበት ለሌላት ባልቴት የጎረቤት ልጅ ያጭድላት የለም? ሣር ሰረቀች ያላት ሰው አለ?»

«የለም።»

«ታዲያ ማጭዱን ሌላ ስለያዘው ሣሩ የማን ሆነ?»

ወጣቱ ሳቁን ዋጠ። ርዕሰ መምህሩ ወረቀቱን ወደ ጎን ገፍቶ፣ «በክፍል ፈተና ይሁን። የስድስተኛ ክፍሉ ግን ከላይ በወረቀት ነው የሚመጣው፤ በእሱ እጄ የለበትም» አለ።

ልወጣ ስል ወጣቱ በር ላይ ደረሰብኝ። ከካርቶን የቆረጣቸውን ፊደሎች በፌስታል ሰጠኝ። «በየቀኑ ጥቂት ጥቂት፣ እየደባለቁ ያሳዩዋት። እርስዎ ግን ከእንግዲህ አያንብቡላት። በጆሮዋ ካገኘችው ዓይኗ አይደክምለትም።»

በቢሮው ውስጥ አልተረታሁም፤ የተረታሁት እዚህ ነው። ሁለት ዓመት ያነበብሁበትን አፍ እንዴት ልዝጋ?

አሁን ከትምህርት ቤት ስትመለስ ደጃፍ ላይ እንቀመጣለን። አንዱን ካርቶን ታነሳለች፣ ጣቷን ታሳርፍበታለች፣ ቀና ትላለች። ዓይኗ የት እንደሚሄድ ያስተዋልሁት በሦስተኛው ቀን ነው። ከንፈሬን ነው የምታየው። ሳላውቀው ከንፈሬ ድምፁን ይሠራል ለካ። ነጠላዬን ስቤ አፌን ሸፈንሁ።

«እምዬ፣ አውርጅው።»

«አላወርደውም።»

«ስድስተኛ ስገባ ማን ያነብልኛል?»

አፌ በመሸፈኑ ደስ አለኝ።

ሁዳዴ ተጋምሷል። ከፌስታሉ ውስጥ ግማሹን እንኳን አልለየችም፤ የለየችውም በማግስቱ ይጠፋታል። አባቷ ትናንት ደውሎ፣ «አነበበች?» አለኝ።

«ፋሲካ መቼ ደረሰ?» ብዬ ዘጋሁበት።

ዛሬ ካነሳችው ካርቶን ጋር ብዙ ቆየች። አውቀዋለሁ፤ ምላሴ ላይ ነው። ነጠላዬን በጥርሴ ያዝሁት።