ልኬትና አሥራ ሁለቱ ሣጥኖች

«ይቅርታ ወንድም፣ የቀኝ እጅዎ መሐል ጣት ከጎረቤቱ በሁለት ሚሊሜትር ይወፍራል። ጠዋት ጠዋት አልታጠፍ ይልዎታል?»

ዞር ብዬ አየኋት። በሆስፒታሉ የፊዚዮቴራፒ ክፍል በር ላይ ካለው ረጅም አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠናል። ሃምሳዎቹን ያጋመሰች፣ ፀጉሯን ጥብቅ አድርጋ ወደ ኋላ ያሰረች፣ ጥፍሯን እስከ ሥጋው የቆረጠች ሴት ናት።

«በር ነው የቀጠቀጠኝ» አልኳት።

«አንዱን ብቻ? ሌላኛው እጅ ደህና ነው?» አለችና ሁለቱንም አገላብጣ ካየች በኋላ «እንግዲያው ተመስገን ይበሉ። በር የቀጠቀጠው ይድናል» ብላ እጄን መለሰችልኝ።

«ሐኪም ነዎት?»

«እኔ? እኔ የአይጥ ሞግዚት ነኝ!» ብላ ሳቀች። አንቱታውንም እዚያው ከለከለችኝ። ታላቅ እህቷ ውስጥ ገብታ እጇን በሞቀ ሰም ውስጥ ነክራለች፤ እስክትወጣ አንድ ሰዓት ያህል ነበረን። እሷ የምታወራው አላት፣ እኔም ወሬ ካገኘሁ መነሣት የማልወድ ሰው ነኝ። የሰማሁትን እንደሰማሁት ልንገራችሁ።

የሥራ ባልደረቦቿ «ልኬት» ይሏታል፤ በዐይኗ የማትለካው ነገር ስለሌለ ነው። ከአሥራ ስምንት ዓመት በፊት የመገጣጠሚያ በሽታዎች ወደሚጠኑበት ተቋም የገባችው በጽዳት ሠራተኝነት ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት አንዲት አይጥ ከሰው እጅ አምልጣ በመተላለፊያው ስትሮጥ፣ ልኬት ወንበር ላይ ወጥታ ጩኸቷን አቀለጠችው። ያኔ እንስሳቱን ይንከባከብ የነበረው ሽማግሌ አይጧን በመዳፉ አፍሶ አነሣና ቀና ብሎ አያት።

«አንቺ ስልሳ ኪሎ፣ እሷ ሃያ ግራም። ማን ማንን ይፍራ?»

ነገሩ ከነከናት። በሳምንቱ ሄዳ «እስቲ አስይዘኝ» አለችው። በጅራት አንጠልጥሎ ሳይሆን በሁለት መዳፍ እንደ ውሃ አፍሶ መያዝን አሳያት። በመዳፏ ውስጥ ያቺ ልብ፣ በደቂቃ ስድስት መቶ ጊዜ የምትመታ ልብ፣ ስትርገበገብ ተሰማት። ፍርሃቱ ያን ቀን ለቀቃት። ሽማግሌው ጡረታ ሲወጣ ቦታውን ለማንም ሳይሆን ለእሷ ስጡልኝ ብሎ ሄደ።

ክፍሉ መስኮት የለውም። መብራቱ በራሱ ጠዋት በርቶ ማታ ይጠፋል፤ አየር የሚያመላልሰው ማሽን ቀኑን ሙሉ ያጉረመርማል፤ የእንጨት ፍቅፋቂ ይሸታል። እሷ ስትገባ ከእግር እስከ ራሷ ልብስ ትቀይራለች። በመደርደሪያው ላይ ጥርት ያሉ የፕላስቲክ ሣጥኖች ተደርድረዋል፤ በእያንዳንዱ አራት አይጦች፣ በእያንዳንዱ ላይ ቁጥር ብቻ የተጻፈበት ካርድ።

በሽታውን የሚሰጧቸው እዚያው ነው። ከከብት ልም አጥንት፣ የመገጣጠሚያን ጫፍ ከሚያለብሰው ለስላሳ አጥንት፣ የወጣ ፕሮቲን በቅባት ተለውሶ በጅራታቸው ሥር ይወጋል፤ በሦስተኛው ሳምንት ይደገማል። ከዚያ እግራቸው ማበጥ ይጀምራል። ልኬት መጀመሪያ ያየች ጊዜ «ምን አደረጋችኋቸው?» አለች። ምርምሩን የምትመራው ወጣት ሐኪም፣ ዶክተሯ፣ ቁጭ ብላ አስረዳቻት፤ የአይጧ ሰውነት ባዕዱን ልም አጥንት ሊዋጋ ወታደር ያሰልፋል፤ ወታደሩ ግን የራሱንም ልም አጥንት ከባዕዱ መለየት ያቅተዋል።

«ማለት፣ የሚመታት የገዛ ጠባቂዋ ነው?»

«የገዛ ጠባቂዋ። በሰውም እንዲሁ ነው። በሰው ምን እንደሚጀምረው ነው ያላወቅነው።»

ልኬት ያን ቀን በጥድፊያ ወደ ቤቷ ሄደች። ቤት ውስጥ ታላቅ እህቷ አለች። እህትየው ሠላሳ ዓመት ፀጉር ሠሪ ነበረች፤ እጆቿ እያበጡና እየተጣመሙ ሄደው በመጨረሻ ማበጠሪያ መያዝ አቃታት። ሰፈሩ ሁሉ «ቁርጥማት ነው፣ ብርድ ነው፣ ብዙ ውሃ ነክተሽ ነው» ሲላት ኖሯል። ልኬት ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ «እትዬ፣ ብርድ አይደለም። የራስሽ ወታደሮች ናቸው» አለቻት። እህትየው የተጣመሙ ጣቶቿን ዘርግታ እያየች፣ «በይ ንገሪያቸው፤ ጦርነቱ አልቋል በያቸው» አለች።

ከዚያ ወዲህ ልኬት ሥራውን ከሥራ በላይ አድርጋ ያዘችው። ቆሞ ምግብ መድረስ ላቃታት አይጥ ምግቡን በውሃ አላልታ ወለሉ ላይ ታስቀምጣለች። ሥቃይዋ ከተፈቀደው ወሰን ያለፈባትን፣ ተኝታ እንድትሞት ሲደረግ ከእጇ አታወርዳትም። ልክ ደግሞ እንደ እሷ የሚለካ አልተገኘም። ካሊፐር በሚሉት ቀጭን መለኪያ የእያንዳንዱን እግር ውፍረት ታያለች፤ ጤነኛው ሁለት ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም፣ የታመመው ሦስት ይደርሳል። ቀጥሎ እብጠቱን ከዜሮ እስከ አራት ነጥብ ትሰጠዋለች። ከመሣሪያው ይልቅ የእሷን እጅ የሚያምኑ ሰዎች ነበሩ።

አንድ ጊዜ ዶክተሯ ማይክሮስኮፕ ላይ አስቀምጣ የአይጥ ጉልበት አሳየቻት። መጠኑ የሰሊጥ ፍሬ ቢያክል ነው። ከፀጉር በቀጠነ ስስ ተቆርጦ፣ ልም አጥንቱ ደማቅ ቀይ ተቀብቶ ይታያል። ልኬት ዐይኗን ስትደቅን ሁለት አጥንቶች ፊት ለፊት፣ በመሐላቸው እንደ ሐር የለሰለሱ ሁለት ቀይ ጥለቶች። ሌላ መስታወት ተቀየረላት፤ የታመመው ነው። ጥለቱ ተበልቶ፣ ተሸርሽሮ፣ አጥንቱ ራሱ ተቦርቡሯል።

«አይጥ የበላው ይመስላል» አለች ሳታስበው።

ዶክተሯ በሳቅ ፍርፍር አለች። ልኬት ግን እጇን በአፏ እንደጫነች ቀረች። እንዲህ ያለ ነገር፣ የሰሊጥ ፍሬ በምታክል ጉልበት ውስጥ፣ እንዲህ ተውቦ! በእህቷም ጣት፣ በሕፃንም ቁርጭምጭሚት፣ በሁሉም ውስጥ ማንም ሳያየው ተውቦ ተቀምጧል።

ታሪኩ የሚከርረው ከዚህ በኋላ ነው። ባለፈው ዓመት አዲስ መድኃኒት መጣ። አሥራ ሁለት ሣጥን፣ አርባ ስምንት አይጦች። ስድስቱ ሣጥን መድኃኒት፣ ስድስቱ የጨው ውሃ ይወጋሉ፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ ዶክተሯም አታውቅም፣ ልኬትም አታውቅም። ዝርዝሩ በተቋሙ ፋርማሲስት ካዝና ተቆልፎበታል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ለኪው ካወቀ እጁ ያዳላል።

ልኬት በሳምንት ሁለት ቀን ሣጥን ታጸዳለች። በየሣጥኑ ሁለት ጣት የሚያህል የተጠቀጠቀ ጥጥ ትጥላለች፤ አይጦቹ በጥርስና በእጃቸው ፈልቅቀው ጎጆ ይሠሩበታል። በማጽጃው ቀን ጎጆው ቆሻሻ ቅርጫት ይገባል። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ስትጥለው ኖራለች። መድኃኒቱ በተጀመረ በአሥረኛው ቀን ግን አንዱን ጎጆ አንሥታ ልትጥል ስትል እጇ ቆመ። ጣሪያ አለው። ድፍን፣ ክብ፣ ባንድ በኩል ትንሽ በር የተተወለት። የሚቀጥለውን ሣጥን ከፈተች፤ ጥጡ እንደጣለችው ጠፍጣፋ፣ ጫፉ ብቻ የተቆረጠመ። አሥራ ሁለቱንም ከፈተች። ስድስቱ ጣሪያ አላቸው። ስድስቱ የላቸውም።

ለእህቷ ስትል እልል ልትል ቃጣት። ማንም ሳይነግራት አወቀች፤ የሚያም እጅ ጣሪያ አይሠራም፣ መድኃኒቱ ይሠራል!

ከሁለት ቀን በኋላ ከዘጠነኛው ሣጥን፣ ጣሪያ ካለው፣ አንዲት አይጥ አውጥታ የኋላ እግሯን ለካች። ሁለት ነጥብ አራት። ፊቷን አኮሳተረች፤ መለኪያውን አላልታ እንደገና ያዘች። ሁለት ነጥብ ሦስት። «ሁለት ነጥብ ሦስት» ብላ ጻፈች። ብዕሩ ገና ከወረቀቱ ሳይነሣ ራሷን ጠየቀች። ለምን ደገምሽ? ጣሪያ ከሌለው ሣጥን ቢሆን ኖሮ ትደግሚ ነበር?

አትደግምም ነበር። ዋሽታ ዋሽታ ራሷን ልታሳምን ብትሞክር አልሆነላትም።

ቤት ስትገባ እህቷ የሹራቧን ቁልፍ ለመፍታት ስትታገል አገኘቻት። ፈታችላትና አጠገቧ ተቀመጠች። ብትናገር የሚሆነውን ታውቃለች፤ ጥናቱ ይበላሽ ይሆናል፣ ሌላ አርባ ስምንት አይጥ በእሷ እጅ ይታመማል። ዝም ብትል ደግሞ በአንድ ፀጉር ያጋደለ ቁጥር መጽሐፍ ውስጥ ይገባል፤ እንደ እህቷ ያለ ሰው እሱን አምኖ ክንዱን ለመርፌ ይሰጣል።

«እትዬ፣ ደንበኛ ወንበርሽ ላይ ተቀምጣ ፀጉሯ ሳያምርላት 'አምሮብሻል' ብለሻት ታውቂያለሽ?»

«እኔ? ሞቼ ነው!»

«ለዚህ ነው ግማሹ ደንበኛ የሸሸሽ።»

«ግማሹ ነው ሠላሳ ዓመት ያኖረኝ» አለች እህትየው። ከዚያ አየት አደረገቻት። «ምን አጠፋሽ?»

ልኬት ነገረቻት። እህትየው ብዙ አልጠየቀችም። መድኃኒቱ ይሠራል ስትላት ዐይኗ በራ፣ ወዲያው ደግሞ ከደነችው። «እንግዲያው የእኔን እጅ እያሰብሽ ነው የለካሽው» አለች። «ነገ ንገሪያት።»

ጠዋት ልኬት ዶክተሯ ኮቷን ሳትሰቅል ያዘቻት። «የትኞቹ መድኃኒት እንደሆኑ አውቄያለሁ። አውቄም አንድ ጊዜ አዳልቻለሁ።»

ዶክተሯ ወንበሩን ሳታይ ተቀመጠች። «ማን ነገረሽ?»

«ማንም። እነሱ ናቸው የነገሩኝ።»

«ስንት ጊዜ አዳላሽ?»

«የማውቀው አንድ። የማላውቀውን እግዜር ይወቀው።»

ወስዳ ጎጆዎቹን አሳየቻት። ዶክተሯ መጀመሪያ ተቆጥታ ነበር፤ ፊቷ ቀልቷል። ሦስተኛው ሣጥን ላይ ስትደርስ ቆመች። ጎንበስ ብላ ዐይኗን ከፕላስቲኩ አጠጋችው። ውስጥ አንዲት አይጥ በፊት እጆቿ አንዲት የጥጥ ክር ይዛ፣ ስባ፣ አቅጥና፣ ጣሪያው ላይ ስትሰካ ትታያለች። የምትሠራበት ጣት የመርፌ ጫፍ ያክላል፤ በእያንዳንዱ ጣት ውስጥ ግን ያ ቀይ ጥለት አለ።

«አሥር ዓመት እግራቸው ስንት እንደሚወፍር ስጽፍ» አለች ዶክተሯ በሹክሹክታ፣ «ይህን አላየሁትም።»

«እኔስ? አሥራ ስምንት ዓመት ቅርጫት ውስጥ ስጥለው ነበር።»

ምህረት ግን አልተደረገላትም። ልኬት ከአሥረኛው ቀን ወዲህ የለካችው ሁሉ ተሰረዘ። ሌላ ፎቅ የምትሠራ፣ ሣጥኖቹን አይታ የማታውቅ ሴት ለመለካት መጣች፤ አይጦቹ ጎጆው ወደማይታይበት ክፍል አንድ በአንድ ይወሰዱላት ጀመር። ልኬት ይዛ ማቀበል ብቻ ሆነ ሥራዋ። ሴትየዋ ካሊፐሩን ስታጠብቅ ልኬት ምላሷን ትነክሳለች። የትኛው ሣጥን መድኃኒት፣ የትኛው ውሃ እንደሆነ ግምቷንም በወረቀት ጽፋ፣ በፖስታ አሽጋ ለፋርማሲስቱ ሰጠች።

በመጨረሻው ቀን ሁሉም ተሰበሰበ። ጉልበቶቹን በማይክሮስኮፕ ያነበበው በሌላ ተቋም ያለ፣ ስለ ጎጆ ምንም ያልሰማ ሰው ነው፤ ወረቀቱ መጣ። ፋርማሲስቱ ካዝናውን ከፈተ። አንደኛ ሣጥን፣ መድኃኒት፤ የልኬት ግምት ልክ። ሁለተኛ፣ ውሃ፤ ልክ። ሦስተኛ፣ አራተኛ... እስከ ስምንተኛ ልክ። በመድኃኒቶቹ ሣጥኖች ቀዩ ጥለት በአብዛኛዎቹ ጉልበቶች ላይ ዳር እስከ ዳር ቆሟል። አሥራ አንደኛ ላይ ግን ጠፍጣፋ ጎጆ ያለው ሣጥን መድኃኒት ሆኖ ተገኘ፤ መድኃኒቱ እነዚያን አራቱን አልረዳቸውም። ከዚያ በፊት ዘጠነኛው ሲነበብ ደግሞ ፋርማሲስቱ ሁለት ጊዜ አይቶ ነበር።

«ዘጠኝ፣ ውሃ።»

ልኬት የምትገባበት ጠፋት። እግሯን ደግማ የለካችላት አይጥ የዘጠነኛዋ ናት። መድኃኒቱን ልታመሰግንበት የቀነሰችው ነጥብ፣ መድኃኒት ካልቀመሰች አይጥ የተቀነሰ ነበር። ዶክተሯ እጇን ትከሻዋ ላይ አሳረፈችና «ባትነግሪኝ ኖሮ» ብላ ጀምራ ተወችው።

ወሬዋ እዚህ ሲደርስ የፊዚዮቴራፒው በር ተከፈተ። እህትየው እጆቿን በፎጣ ጠቅልላ፣ «አንቺ፣ ያገኘሽውን ሰው ሁሉ እየያዝሽ!» እያለች ወጣች። ልኬት ተነሥታ ፎጣውን ፈታችላትና ጣቶቿን አንድ በአንድ ዳሰሰቻቸው። መድኃኒቱ ለሰው ይደርስ እንደሆነ፣ ከደረሰም ስንት ዓመት እንደሚፈጅ ጠየቅኳት። አታውቅም። የምታውቀው ሰኞ ጥናቱ እንደገና እንደሚጀመር፣ በዚህኛው ያቺ ከሌላ ፎቅ የመጣችው ሴት እግር፣ እሷ ደግሞ ጎጆ ብቻ እንደምትለካ ነው።

እህቷን በክርኗ ደግፋ ጥቂት ከሄደች በኋላ ቆመችና ዞረች።

«ዘጠነኛውን ሣጥን ግን አስበው እስቲ» አለችኝ። «መድኃኒት የለም፣ እግራቸው ይህን አክሏል፣ ጉልበታቸው ውስጡ ተበልቷል። ጣሪያውን ግን ሠርተውታል፤ ያውም ከሁሉም ያማረውን። በምን እጃቸው? ዶክተሯን ጠየቅኋት፣ እሷም አታውቅም።»